ድምፅ በቤት ውስጥ፤ የድምፅ ማጉያዎች አቀማመጥና የገመዶቻቸው መሸሸጊያ

(በራዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



በአዲስ አበባ ስታዲየም አጠገብ የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። ታላቅ ግጥሚያ በሚደረግበት ቀን መስኮቱን ከፍቶ ጨዋታውን በቴሌቪዥን ሲከታተል፣ ኳሱ መረብ መንካቱን ከቴሌቪዥኑ አስቀድሞ የሚያበሥረው የሕዝቡ ጩኸት ነው። የቴሌቪዥኑ ሥርጭት ከቤት እስኪደርስ ጥቂት ሰኮንዶች ይፈጃል፤ ጩኸቱ ግን በሰኮንድ 340 ሜትር ያህል እየተጓዘ በቀጥታ ከጆሮ ይደርሳል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ያ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ እንኳ ጩኸቱ በየትኛው ወገን እንደ ተነሣ ለይቶ ማወቁ ነው። ከቀኝ የሚመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮን ከግራው ቀድሞ ይነካል። በሁለቱ መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት የሰኮንድ አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም አእምሯችን ይህን ኢምንት ልዩነት መዝኖ «ከዚህ ነው» ብሎ ይፈርዳል።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡድን በዚሁ ስታዲየም የተባበረውን ዐረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ በወሰደ ጊዜ፣ በሜዳው ዙሪያ የተቀመጠው ተመልካች ደስታውን የሰማው ከፊቱም ከጎኑም ከኋላውም ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ስለ ሆነ በዚያን ቀን ከቤቱ የቀረ ሰው ጨዋታውን በምስል ሊያይ አልቻለም። ኋላም ቴሌቪዥን በየቤቱ ሲገባ የዚያን ያህል ሕዝብ ድምፅ ከአንዲት ትንሽ ማጉያ እየተጨመቀ ይወጣ ነበር። ዛሬ «ሆም ቴአትር» እየተባለ የሚሸጠው መሣሪያ የሚሞክረው ድምፁን ወደየመጣበት አቅጣጫ መመለስ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አለን ብለምላይን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1931 እ.ኤ.አ. ሲኒማ ገብቶ ሳለ፣ ተዋናዩ በሸራው ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲራመድ ድምፁ ግን ከአንድ ቦታ አለመነቃነቁ ቅር አሰኘው፤ በዚያው ዓመት ዛሬ ስቴሪዮ ለምንለው ዘዴ የፈጠራ መብት ጠየቀ። ሁለቱ ማጉያዎች እየበዙ ሄደው አሁን በብዙ ቤት የሚታየው አምስት ማጉያና አንድ የጎርናና ድምፅ ሣጥን ያለው ነው።

በዚህ ንግግር የምንገልጸው መሣሪያውን ስለ መግዛት ሳይሆን ከተገዛ በኋላ ስለሚደረገው ነገር ነው። በዚህ ዕቃ ላይ ገንዘቡን አውጥቶ የሚጸጸት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጸጸተው በአቀማመጡ ጉድለት ነውና።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወዳጅ አለኝ። ተወልዶ ያደገው በካዛንቺስ ነው። እግረ መንገዴን ለማንሣት ያህል፣ ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ያሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለው ድርጅት ሲሆን፣ «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ሰፈሩ ከስሙ ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ሰፈር ነበር ማለት ይቻላል። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ አያሌ ቤቶች ሲፈርሱ የወዳጄም ቤተሰብ ተነሥቶ ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንጻ ገባ። በዚያም የእቁብ ዕጣ ሲደርሰው፣ በሽምግልና ምክንያት ከቤት የማይወጡትን አባቱን ለማስደሰት ሲል ሆም ቴአትር ገዛ። ሁሉንም ማጉያ ከቡፌው ላይ ደረደረው፤ የኋለኞቹ ገመዶች እየተጎተቱ ሕፃናቱን ስላደናቀፉ የኋላ ማጉያዎቹንም አምጥቶ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ አቆማቸው። አባቱ አንድ ሳምንት ከሰሙ በኋላ «ልጄ፣ ይጮኻል እንጂ አይናገርም» አሉት። እርሱም ድምፁን ከፍ አደረገ። ከግድግዳው ማዶ ያሉት ጎረቤት ደግሞ ግድግዳውን መታ መታ አደረጉ።

የሽማግሌው አነጋገር ከማናቸውም መጽሐፍ ይልቅ ነገሩን ይገልጸዋል። በንግግር ውስጥ ጉልበት ያላቸው የአናባቢዎቹ ድምፆች ናቸው፤ ቃልን ከቃል የሚለዩት ግን እንደ ሰ፣ ሸና ፈ ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ በመጀመሪያ የሚያጣው እነዚህን ቀጫጭኖች ነው። ከዚህ ላይ ክፍሉ ራሱ ድምፁን እያነጠረ ካደባለቀው፣ ሰሚው ጩኸት ይሰማል፣ ቃል ግን አይሰማም። ከፍ ማድረጉም ጩኸቱን ከፍ ከማድረግ በቀር ቃሉን አያጠራውም።

ክፍሉ እንዴት ያደባልቀዋል? አሮጌው የጭቃ ቤት ግድግዳው ያልተስተካከለ፣ ጣሪያው በአቡጀዲ የተወጠረ፣ ዕቃውም የታጨቀ ስለ ነበረ ድምፅን ይውጥ ነበር። (ዝናብ በቆርቆሮው ላይ በወረደ ጊዜ ምንም እንደማይሰማ ግን አልዘነጋሁም።) አዲሱ ቤት ብሎኬቱ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ወለሉ ሊሾ ወይም ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ መስተዋት ነው፤ እነዚህ ሁሉ ድምፅን እንደ ኳስ ይመልሱታል። በክፍልዎ መካከል ቆመው አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ፤ ጭብጨባው እንደ ገደል ማሚቶ እየተንጠረጠረ ከቀረ፣ ከማጉያው በፊት የሚያስፈልግዎ ስጋጃ ነው። በማጉያዎቹና በመቀመጫው መካከል ባለው ወለል ላይ ወፍራም ስጋጃ ማንጠፍ፣ በመስኮቱ ላይ ድርብ መጋረጃ መስቀል፣ ከመቀመጫው በስተኋላ ያለውን ባዶ ግድግዳ በመጽሐፍ መደርደሪያ መሸፈን ብዙ ይረዳል።

አሁን ወደ አቀማመጡ እንለፍ። የፊተኞቹ ሁለት ማጉያዎችና የተቀማጩ ራስ ሦስት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን መሥራት አለባቸው። መለኪያው ሲባጎ ነው፤ በሁለቱ ማጉያዎች መካከል 2 ሜትር ካለ፣ ከእያንዳንዱ እስከ መቀመጫው ድረስም እንዲሁ 2 ሜትር ይሁን። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክብ ከተቀማጩ ጆሮ ትይዩ ትሁን። ከግድግዳው ቢቻል 30 ሳንቲ ሜትር ይራቁ፤ መቀመጫውም ከኋላው ግድግዳ ጋር ባይለጠፍ መልካም ነው። ክፍላችን ጠባብ ነው የሚለኝ ሰው እውነት አለው፤ ሶፋውን አንድ ክንድ ወደ ፊት መሳብ ግን በጠባብ ክፍልም ይቻላል።

የመካከለኛው ማጉያ በፊልምና በድራማ ውስጥ አብዛኛው ንግግር የሚወጣበት ነው። ወዳጄ ይህንኑ ነው ከቡፌው መደርደሪያ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ በስተኋላ የቀበረው። መሣሪያው ቡፌው ውስጥ ሲቀመጥ ሣጥኑ ራሱ አብሮ እየተንቀጠቀጠ ድምፁን ያጎረናል። ይህ ማጉያ ከቴሌቪዥኑ በታች ወይም በላይ፣ ፊቱ ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር እኩል ሆኖ፣ ጥቂት ወደ ተቀማጩ ፊት አዘንብሎ መቀመጥ ይገባዋል። የቤት እመቤቶች ቅር አይሰኙብኝና በማጉያው ፊት የሚለብሰው ዳንቴል ስስ ከሆነ ብዙም አይጎዳ፤ ወፍራም ጨርቅ ከሆነ ግን የሚከለክለው እነዚያኑ ቀጫጭን ድምፆች ነው።

የኋለኞቹ ሁለት ማጉያዎች ስማቸው የኋላ ቢባልም ስፍራቸው ከማጅራት በስተኋላ አይደለም። ተቀምጠው ሁለቱን ክንድዎን ወደ ጎን ቢዘረጉ፣ ማጉያዎቹ ከእጅዎ ጫፍ ጥቂት ወደ ኋላ ያፈነገጡና ከጆሮዎ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያሉ ይሁኑ። የስታዲየሙ ጩኸት ከጎን የሚመጣው በእነዚህ ነው።

ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ሣጥን ጠባዩ ሌላ ነው። ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ጆሯችን በቀላሉ ስለማይለይ ሣጥኑ የትም ሊቀመጥ ይችላል ይባላል፤ ነገር ግን የትም ሲቀመጥ አንድ ዓይነት አይሰማም። በሰኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የአንዱ ማዕበሉ ርዝመት 6.8 ሜትር ነው። የክፍልዎ ስፋት 3.4 ሜትር ቢሆን የማዕበሉ ግማሽ በግድግዳዎቹ መካከል ልክ ይገባል፤ በዚያን ጊዜ በግድግዳው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሲበዛበት፣ በመካከል የተቀመጠው ምንም ላይሰማ ይችላል። መድኀኒቱ ለሹም የማይመች ቢመስልም ቀላል ነው። ሣጥኑን አንሥተው ከሚቀመጡበት ሶፋ ላይ ያድርጉት፤ ወፍራም ድምፅ ያለው ዘፈን ይክፈቱ፤ ከዚያም በእጅና በጉልበትዎ ወለሉን እየዳሁ በየግድግዳው ሥር ያዳምጡ። ድምፁ ጥርት ብሎና ሳይበዛ የተሰማዎት ስፍራ የሣጥኑ ስፍራ ነው። ልጆች ይሥቃሉ፤ ይሣቁ።

በጋራ ሕንጻ ለሚኖር ሰው አንድ ነገር ይጨመራል። ቀጭን ድምፅ በግድግዳ ሲታገድ ወፍራሙ ግን ያልፋል። ስለዚህ ሣጥኑ ከጎረቤት ጋር ከሚጋሩት ግድግዳና ከማዕዘን ይራቅ፤ ከሥሩ ወፍራም ጎማ ይነጠፍለት፤ ከመሸም በኋላ መጠኑ ዝቅ ይበል። ንግግር ለመስማት ይህ ሣጥን ምንም አያስፈልግም።

ቀጥሎ የገመዱ ነገር ነው። እዚህ ላይ ሁለቱን ገመዶች ፈጽሞ አለማደባለቅ ያስፈልጋል። ወደ ማጉያዎቹ የሚሄደው ገመድ የሚሸከመው ኀይል አነስተኛ ስለ ሆነ በስጋጃ ጠርዝ ሥር ቢያልፍ የሚያሠጋው መረገጡና መበጠሱ ነው። ከሶኬት የሚመጣው ባለ 220 ቮልቱ ገመድና ኤክስቴንሽኑ ግን ከስጋጃ ሥር ሊሸሸጉ አይገባም። ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ሽፋኑ በእግር እየተረገጠ ይላጣል፤ ይህም በስውር የሚጀምር የእሳት አደጋ ነው። ወዳጄ ለውበት ሲል ኤክስቴንሽኑን ጠቅልሎ ከሶፋው በስተኋላ ከስጋጃው ሥር አኑሮት ነበር፤ ስናወጣው ላስቲኩ ለስልሶ አገኘነው። በዚያ ሶፋ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚውሉት አባቱ ነበሩ።

ገመድ ሲገዛ ውፍረቱን መጠየቅ ይገባል። ማጉያው 8 ኦም ከሆነ እስከ 10 ሜትር ድረስ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ገመድ ይበቃል፤ 4 ኦም ከሆነ ወይም መንገዱ ከዚያ ከረዘመ 2.5 ይሁን። በገበያ ላይ አሉሚኒየም ሆኖ በመዳብ የተቀባ ገመድም አለ፤ ጫፉን በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ከውስጥ ነጭ ሆኖ ከታየ እርሱ ነውና ከተገዛም ወፈር ያለው ይገዛ።

መንገዱን አስቀድመው በእርሳስ ይንደፉ። በኮርኒስ በላይ ክፍተት ያለው ቤት ገመዱን በዚያ በኩል ማሳለፍ ይችላል። በጋራ ሕንጻ ግን ጣሪያው ኮንክሪት ነውና የሚቀረው መንገድ በዞኮሎው ላይ ነው፤ ክዳን ያለው ጠባብ የፕላስቲክ ቦይ በዞኮሎው ጫፍ ላይ አስይዞ እንደ ግድግዳው መቀባት ነው። በር ሲያጋጥም በበሩ ዙሪያ ከፍ ብሎ ማለፍ እንጂ በደፉ ላይ መዘርጋት አይገባም። ከሶኬት ገመድ ጋር በአንድ ቦይ አይግባ፤ ጎን ለጎን ሲሄዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራራቁ፤ መገናኘት ግድ ከሆነም መስቀለኛ ሆነው ይተላለፉ፤ አለዚያ ማጉያው እንደ ንብ እምም ይላል። ግድግዳ መፈልፈል የሚወድ ሰው የኮንክሪት ዓምድ አይንካ፤ ከሶኬትና ከማብሪያ በላይም ሆነ በታች ቀጥታ አይብሳ፤ የተቀበረው ገመድ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ መሥመር ነውና። ይህ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ብሬከሩም መውረድ አለበት።

ቀይና ጥቁሩ ጫፍ በሁሉም ማጉያ ላይ አንድ ዓይነት ይታሰር። አንዱ ከተገለበጠ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል፣ ተናጋሪውም በየት እንዳለ ይጠፋል። የገመዱ ምልክት ከጠፋ፣ መሣሪያው ተነቅሎ ሳለ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ በገመዱ ጫፎች ለቅጽበት ይነካ፤ የማጉያው ሸራ ወደ ፊት ከወጣ በባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ላይ ያለው ገመድ ቀዩ ነው። መብራት በሄደ ጊዜም መሣሪያውን ከሶኬት መንቀል ልማድ ይሁን፤ ሲመለስ የሚመጣው ኀይል ሁልጊዜ የተመጠነ አይደለምና።

በወዳጄ ቤት ሥራው አንድ ቅዳሜ ፈጀ። የወጣው ወጪ የገመድ፣ የቦይና የአንድ ስጋጃ ነው። ማታ ዜና ሲጀመር አባቱ ድምፁ ከቀድሞው አጋማሽ ዝቅ ብሎ ሳለ «ማን ነው ያለው?» ብለው ሳይጠይቁ እስከ መጨረሻው ሰሙ። በግራ በኩል ያለው የኋላ ማጉያ ብቻ ከሚገባው ስፍራ አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ቀርቷል፤ በዚያ ወገን የመኝታ ቤቱ በር አለና።