ወረራ፦ ተራ ሳይጠበቅ የሚጀመረው የሰንጠረዥ ጦርነት

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሳሪስ ወይም ጎፋ አካባቢ፣ ከታክሲ መያዣው አጠገብ ዳማ የሚጫወቱ ሰዎችን ቆሞ ያየ ሁሉ ሥርዓቱን ያውቀዋል። ካርቶን ላይ ካሬ ይሰመራል፤ የአንዱ ቆርኪ በፊቱ፣ የሌላው በጀርባው ይደረደራል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይጠብቃል። ተራውን የዘለለ ከተጋጣሚውም ከተመልካቹም ይጮህበታል። የኢትዮጵያ መኳንንት ለብዙ ዘመን ሲጫወቱት የኖሩት ሰንጠረዥ ግን ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር አልነበረውም። ሁለቱ ተጋጣሚዎች እኩል እጃቸውን ሰደው ሠራዊታቸውን እንዳሻቸው ያንቀሳቅሱ ነበር። አንዱ አምስት ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ሁለቴ ብቻ ቢያንቀሳቅስ ጠያቂ የለም። ይህ የመክፈቻ ምዕራፍ ወረራ ይባላል። የሚያበቃውም ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያዋን የጠላት ቁራጭ ሲበላ ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ተራ ይገባል።

በገበታ ላይ ጦርነት መጫወት ዛሬ በሌላው ዓለም ብዙ ተከታይ ያለው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። በዘርፉ ስሙ የገነነው ጌምስ ዎርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1975 ተቋቁሞ፣ በ1983 ዋርሃመር የተሰኘውን የተረት ዓለም ጦርነት አወጣ። የዚህ ጨዋታ አፍቃሪ ቁመታቸው 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ ወታደሮችን፣ ጭራቆችንና ዘንዶዎችን ገዝቶ ቁርጥራጫቸውን በማጣበቂያ ይገጣጥማል፤ በቀጭን ብሩሽ ቀለም ይቀባቸዋል፤ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አሰልፎ እርምጃቸውን በሜትር እየለካ ያዘምታቸዋል። የምት ዕጣው በዳይስ ይወጣል። ለብዙዎቹ መሰብሰቡና መቀባቱ ከግጥሚያው የማይተናነስ ደስታ አለው።

የዚህ ጨዋታ የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ሲቆጠር የሚደርሰው ቼዝ ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1780 ብራውንሽቫይግ ውስጥ ሄልቪግ የተባለ መምህር የቼዝን ገበታ አስፍቶ፣ መሬቱን በወንዝና በተራራ ከፋፍሎ የጦር ጨዋታ አደረገው። በ1824 ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን ካሬውን ትቶ በእውነተኛ ካርታ፣ በዳይስና በዳኛ የሚመራ ጨዋታ ለአገሩ የጦር አዛዦች አቀረበ፤ ለመኮንኖች ማሠልጠኛም ዋለ። ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 «ሊትል ዎርስ» በተሰኘ መጽሐፉ የልጆች መጫወቻ ወታደሮችን ይዞ ጨዋታውን ከጦር ካምፕ ወደ ሳሎን አወረደው። ከዚያ እስከ ዋርሃመር ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም።

የእኛው ሰንጠረዥ የዚህ ቤተሰብ አባል ነው፤ የሄደው ግን በራሱ መንገድ ነው። ገበታው ስምንት በስምንት፣ 64 ቤት አለው። እንደ ቼዝ ነጭና ጥቁር ቤት አይፈራረቅበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር ቤቶቹን ይለያቸዋል። በየወገኑ 16 ቁራጮች አሉ። ከዝሆን ጥርስ፣ ከቀንድ ወይም ከእንጨት የሚሠሩ ናቸው። ንጉሡ ወደፈለገበት አቅጣጫ አንድ ቤት ይራመዳል። ከጎኑ ያለው ፈርዝ ዛሬ በቼዝ የንግሥቲቱ በሆነው ቦታ ይቆማል፤ ጉልበቱ ግን ከእርሷ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። ፊል፣ ማለትም ዝሆኑ፣ በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል። ፈረስ ዛሬም እንደምናውቀው ይዘላል። ግንቡ ደር ይባላል፤ መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ቀጥ ብሎ ይነጉዳል። እግረኞቹ መደቆች ደግሞ አንድ አንድ ቤት ወደፊት ይሄዳሉ፤ ሲነሡም ሁለት ቤት መራመድ አይፈቀድላቸውም። ንጉሡ በባለቤቱ በኩል ሲታይ ከመሐል በስተቀኝ ስለሚቆም፣ ሁለቱ ነገሥታት እንደ ቼዝ ፊት ለፊት አይተያዩም። እያንዳንዱ ንጉሥ ከፊቱ የሚያየው የጠላቱን ፈርዝ ነው።

የእነዚህ ቁራጮች አቅም ሲመዘን የወረራ ምክንያት ይገለጣል። አንድ ፊል ከተነሣበት ቤት ጀምሮ እስከ ጨዋታው ፍጻሜ ሊረግጥ የሚችለው ከ64ቱ 8 ቤት ብቻ ነው። የአራቱ ፊሎች መንገድ ጨርሶ ስለማይነካካ በአንድ ሜዳ እየተዋጉ አንዱ ሌላውን ሊበላው አይችልም። ፈርዝም አንካሳ ነው፤ መደቁም ዝግተኛ። በዚህ ሠራዊት በተራ በተራ ሲጫወቱ ሁለቱ ወገኖች እስኪገናኙ ድረስ ብዙ ጊዜ ያልቃል፤ ተመልካቹም ይሰለቻል።

ችግሩ የእኛ ብቻ አልነበረም። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስ በኩል ዐረቦች ዘንድ የደረሰው ጥንታዊው ቼዝ፣ ሻትራንጅ፣ በእነዚሁ ደካማ ቁራጮች የሚጫወቱት ስለነበር ዝግታው የወል ነበር። መድኃኒቱን ግን እያንዳንዱ አገር ለብቻው ፈለገ። በ10ኛው መቶ ዓመት የባግዳዱን አስ-ሱሊን የመሰሉ ሊቃውንት አሰላለፎችን አስቀድመው አጥንተው በቃል ያዙና ጨዋታውን ከተዘጋጀ ሰልፍ ይጀምሩት ነበር። በርማዎች ሲቱዪን በተባለው ጨዋታቸው ከእግረኞቹ በቀር ቁራጮቹን ከገበታው ውጭ አስቀምጠው ባለቤቱ በራሱ በኩል ወደፈለገው ቤት እንዲያስገባቸው ፈቀዱ። አውሮፓውያን በ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ቁራጮቹን ራሳቸውን ለወጡ፤ ፈርዝን ገበታውን ሁሉ የምትገሰግስ ንግሥት አደረጉት፤ ፊሉንም በሰያፍ ርቆ እንዲሄድ ለቀቁት። ኢትዮጵያውያን ቁራጮቹን አልነኩም፤ የለወጡት ጊዜውን ነው። ተራን አነሡና ሰልፉን ለሁለቱም እኩል ክፍት አደረጉት። ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፣ ግራ አዝማቹ በግራ በሚሰለፍበት ሠራዊት ውስጥ ላደገ ሰው፣ ከውጊያው በፊት ያለችው የአሰላለፍ ሰዓት የጨዋታው ግማሽ መሆኗ አይገርምም።

ወረራ ላይ ላዩን ሲያዩት የእጅ ፍጥነት ውድድር ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ሌላ ነው። አንዱ መደቆቹን ገፋ ገፋ አድርጎ ፈረሶቹን ወደ ቀኝ ክንፍ ያወጣል። ሌላው እጁን ይሰበስብና ያያል፤ ጥቃቱ በዚያ በኩል እንደሚመጣ ሲገባው ደሩን ወደዚያው ያዞርና ንጉሡን ወደ ማዶ ያሸሻል። ያ ደግሞ ይህን አይቶ ፈረሶቹን ይመልሳል። ደርም ፈረስም ፊልም ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፤ መደቅ ግን አንዴ ከሄደ ሄደ። ስለዚህ ልባም ተጫዋች መደቆቹን በቁጠባ ነው የሚያራምደው። ሁሉን ቀድሞ የጨረሰ ዕቅዱን ለባላንጣው አስነብቦ ይቀመጣል፤ አብዝቶ የዘገየ ደግሞ ሳይሰለፍ ይያዛል።

ወሰኑም አለ። ከሁለቱ የመደቅ ሰልፎች መሐል አራት ባዶ ረድፎች አሉ። እያንዳንዱ ወገን መደቆቹን ከአንድ ረድፍ በላይ እስካላራመደ ድረስ መደቆች አይነካኩም። የአንዱ መደቅ ርቆ ሄዶ ከጠላት መደቅ በሰያፍ ፊት ከቆመ ግን ሊበላ ነው፤ የበላውም በምላሹ ሊበላ ይችላል። የመጀመሪያው ምርኮ የሚያጓጓውን ያህል ወጥመድም ነው፤ ምክንያቱም መብላት ማለት ወረራውን ዘግቶ ተራውን ለጠላት ማስረከብ ነው። ሰልፉን ያላደላደለ ሰው በችኮላ አንድ መደቅ በልቶ ጨዋታውን ሊያጣ ይችላል።

ስለ ሰንጠረዥ ተጽፎ የተላለፈልን ብዙው ከመንገደኞችና ከመልእክተኞች እጅ ነው። ሂሮኒሞ ቢቺኒ የተባለ የቬኒስ ሰው እ.ኤ.አ. በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዐፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት ከንጉሡ ጋር ይጫወት እንደነበር ተመዝግቧል። እቴጌ ጣይቱም ሰንጠረዥ አዋቂ እንደነበሩ ይነገራል። ከሁሉ ሕያው የሆነው ግን እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 ትግራይ ውስጥ፣ እንጣሎ፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ያየው ነው። የራስ ወልደ ሥላሴ ቁራጮች ትላልቅና ሸካራ የዝሆን ጥርስ ነበሩ። ምርኮ ሲወሰድ እንዲሁ አይነሣም፤ በብርቱ ተመትቶ ከቤቱ ይፈናቀላል። በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ፣ አገልጋዮች ሳይቀሩ፣ ድምፅ አላቸው፤ ይሻላል የሚሉትን እያነሡ በገዛ እጃቸው ያሳያሉ። ጫጫታው ሌላ ነው። ሶልትን አንድ ነገር አላመለጠውም፦ ይህ ሁሉ መካሪና ተሟጋች ተሰብስቦም፣ በዘዴ ተደርጎ ሁልጊዜ የሚያሸንፉት ራስ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

አጨራረሱን በዝርዝር የጻፈው ዋልተር ፕላውደን ነው። የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ዓመት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1860 እዚሁ የሞተው ፕላውደን፣ መጽሐፉ የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1868 ነው። እርሱ እንደሚነግረን ማሸነፍ ብቻውን አያስመሰግንም፤ በምን እንዳሸነፉ ይታያል። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መግደል ጉልበተኛ ሁሉ የሚያደርገው ነው ተብሎ ይናቃል። በፊል ወይም በፈርዝ መግደል ያስከብራል። በመደቅ መግደል ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው። ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይገደልም። አንድ ታላቅ ቁራጭ ብቻ የቀረው ንጉሥም ቢሆን ያቺ ቁራጭ ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሷ በፊት መገደል አለበት። እዚህ ላይ ከቼዝ የለመድነው ሐሳብ ይገለበጣል። በቼዝ የጠላትን ሠራዊት አንድ በአንድ መልቀም የድል መንገድ ነው። በሰንጠረዥ ግን ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ሰው ድሉን በገዛ እጁ ያመክናል፤ የጠላትን ንጉሥ በክብር ለመጣል ለጠላት ሠራዊት ማትረፍ ያስፈልጋል።

እነዚህን ምንጮች ሰብስቦ ያጠናው የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት ነው። የሰንጠረዥን ታሪክና ሕግ የሚያብራራ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1971 በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ ወጥቷል። ዛሬ ከተማው ውስጥ ቼዝና ዳማ የሚጫወት ሞልቷል፤ በወረራ የሚጀምር ሰንጠረዥ የሚዘረጋ ግን ማግኘት ያዳግታል።

መመለሱ ግን ከባድ ወጪ አይጠይቅም። የዋርሃመር ሠራዊት ለማሰለፍ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ፣ ማጣበቂያና ቀለም ያስፈልጋል። ሰንጠረዥ የሚፈልገው ግማሽ ሜትር ያህል ቀይ ጨርቅና ጥቁር ጥብጣብ ነው። እያንዳንዱ ቤት 5 ሳንቲ ሜትር ከተደረገ ገበታው በየጎኑ 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በቁመት 9፣ በአግድም 9 መስመር ይሰፋል። ለ32ቱ ቁራጮች ለቡም ሆነ መካኒሳ የእንጨት ሥራ ቤት አይጠፋም፤ በቶርኖ ደህና አድርጎ ያወጣቸዋል። በእንጨቱ ላይ የተለያየ ጭረት ማድረግ መደቅን ከፊል ለመለየት ይበቃል፤ መቀባት የሚወድ እንደ ዋርሃመሮቹ ጎራዴና ጋሻ ይሣልባቸው። ትልቅና ከባድ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ሲመቱ እንዳይሰበሩ። እዚህም ላይ ላልደረሰ ቆርኪና እስክሪብቶ አለ።

የቼዝ ሰዓት እቤት ይቅር፤ ወረራ ላይ የሚቆጥረው የለውም። በምትኩ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። አራት እጅ ባንድ ጨርቅ ላይ ሲራወጥ ማን ቀድሞ እንደበላ የሚፈርድ፣ «ወረራው አለቀ» ብሎ የሚያስቆም ዳኛ ከሌለ ጨዋታው በክርክር ያልቃል። ሕጉንም አስቀድሞ መነጋገር ነው። ሶልት ባየው ጨዋታ መደቅ የጠላትን ጫፍ ቢነካም ሹመት አላገኘም፤ ከቼዝ የመጣ ሰው ግን ንግሥት ይሁንልኝ ማለቱ አይቀርም። ተመልካች ቁራጭ አንሥቶ ማሳየት ይፈቀድለት እንደሆነም ይቆረጥ። በእንጣሎ ሥርዓት ይፈቀዳል፤ የዳማ ተመልካች ያየ ሰው ግን ቢከለከልም ዝም እንደማይል ያውቃልና፣ ቢፈቅዱለት ይሻላል።