ተሳቢ የሚጎትት ፒክአፕ ምን ዓይነት ጎማ ይፈልጋል?

ፒክአፑን ይዞ ጎማ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው የጎማውን ቁጥር ነው፤ ቀጥሎ ዋጋው፣ ከዚያም የጥርሱ ዓይነት ይነሣል። ከኋላው ትራቭል ትሬለር፣ ማለትም አልጋና ማብሰያ ያለው ተሳቢ፣ ለሚጎትት ሰው ግን ከሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ተሳቢው ተቀጥሎ፣ ልጆቹ ተሳፍረው፣ ዕቃው ተጭኖ ሲያልቅ በኋላው አክስል ላይ ስንት ፓውንድ ያርፋል? ሻጩ ይህን ብዙ ጊዜ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም መልሱ ያለው እኛ ዘንድ ነው። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ሒሳቡን ቤት እንሥራው።

ከመሠረቱ እንጀምር። የመኪናውን ክብደት በአብዛኛው የሚሸከመው ጎማው ውስጥ የታመቀው አየር ነው። ላስቲኩና በውስጡ የተሸመነው ክርና ሽቦ አየሩን አጥብቀው ይይዛሉ፣ መንገዱንም ይቆነጥጣሉ። አየሩ ለጭነቱ ካነሰ ጎማው ከታች ይተኛል፤ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ እንደገና ይታጠፋል። አንድ የፒክአፕ ጎማ በሰዓት 65 ማይል ሲሄድ በየደቂቃው ከ600 ጊዜ በላይ ይዞራል። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ደጋግመው ሲያጥፉት እንደሚግለው ሁሉ ጎማውም ከውስጥ ይግላል። ግለቱ ሲበረታ ንብርብሮቹ እርስ በርስ ይላቀቁና ጥርስ ያለበት ንጣፍ ተገንጥሎ ይወጣል። ከኋላ 6,000 ፓውንድ ተሳቢ እየተከተለ ይህ ቢደርስ ፒክአፑን በመስመሩ ላይ ማቆየት ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን ማሰብ አያስቸግርም።

አሜሪካ ይህን በሰው ሕይወት ነው የተማረችው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማዎች እንዲመለሱ ጥሪ አደረገ፤ ብዙዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠሙ ነበሩ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ፎርድ በሳውዲ ዓረቢያ ሙቀት ጥርሳቸው የሚገነጠል ጎማዎችን መቀየር ጀምሮ ነበር። የጎማዎቹ አሠራር ራሱ ችግር ነበረበት፤ ፎርድ ለኤክስፕሎረር ያዘዘው የ26 ፒኤስአይ የአየር ግፊት አነስተኛ መሆኑም ብዙ አከራክሯል። ከእነዚህ ጎማዎች ጋር በተያያዙ አደጋዎች በአሜሪካ ብቻ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ዛሬ ዳሽቦርዳችን ላይ የምትበራውን የጎማ አየር መብራት ያመጣው በዚያው በ2000 ኖቬምበር የጸደቀው ሕግ ነው፤ ከሴፕቴምበር 2007 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪኖችና ቀላል ፒክአፖች ሁሉ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። ወደዚህች መብራት ኋላ እንመለስባታለን፣ ምክንያቱም ተሳቢ የሚጎትተውን ሰው ልታዘናጋው ትችላለች።

አሁን ወረቀቱን እናውጣ። ሲጫን 6,000 ፓውንድ የሚመዝን ተሳቢ እንውሰድ። ትራቭል ትሬለር ቀጥ ብሎ እንዲከተል ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው ኳስ ላይ ማረፍ አለበት፤ ከዚያ ሲያንስ ተሳቢው ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ይጀምራል። መሐል ላይ ያለውን 12.5 በመቶ ብንይዝ 750 ፓውንድ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና የኋላው አክስል 750 ፓውንድ ተጨመረበት ብሎ ያስባል። ኳሱ ግን ከአክስሉ ወደ ኋላ ርቆ ነው ያለው። ከፊተኛው አክስል እስከ ኋለኛው 12 ጫማ፣ ከኋለኛው እስከ ኳሱ ደግሞ 5 ጫማ ነው እንበል። 750ን በ5 አባዝተን ለ12 ስናካፍል 312 ገደማ እናገኛለን። ይህ 312 ፓውንድ ከፊት እግሮች ላይ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይዛወራል። ስለዚህ በኋላው አክስል ላይ የሚጨመረው 1,062 ፓውንድ ነው፤ የፊቱ ደግሞ 312 ይቀለዋል። መሪው እንደ መንሳፈፍ ሲል የሚሰማን ለዚህ ነው።

የኋላው አክስል ባዶውን 2,300 ፓውንድ ቢሸከም፣ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች፣ ማገዶው፣ የውኃው ጀሪካንና ብስክሌቶቹ 600 ቢጨምሩበት፣ ጠቅላላው 3,962 ይደርሳል። ለሁለት ስናካፍለው እያንዳንዱ የኋላ ጎማ 1,981 ፓውንድ ይሸከማል። ክብደት የሚያከፋፍል መጎተቻ ካለዎት፣ ብረቶቹ ሲወጠሩ ከዚህ የተወሰነውን ወደ ፊት እግሮችና ወደ ተሳቢው ጎማዎች ይመልሳል፤ ለትራቭል ትሬለር ቢኖር በጣም ጥሩ ነው። አሁን የሾፌሩን በር ከፍተው ምሰሶው ላይ የተለጠፉትን ወረቀቶች ያንብቡ። የየአክስሉ ገደብ፣ የጎማው ቁጥርና መኪናው ሳይነዳ የሚሞላው አየር ተጽፎባቸዋል። በምሳሌያችን የኋላው አክስል ገደብ 4,000 ፓውንድ ቢሆን የቀረን 38 ፓውንድ ብቻ ነው። አንድ ተጨማሪ ጀኔሬተር ከገደቡ ያሳልፈናል።

በወረቀት ላይ የተሠራ ሒሳብ ግን በሚዛን መረጋገጥ አለበት። በአሜሪካ ትራክ የሚነዱ ወንድሞችና እኅቶች ካት ስኬልን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ በየትራክ ማረፊያው ያለው ይኸው ሚዛን ፒክአፕም ይመዝናል። የፊት እግሮች በአንዱ ንጣፍ፣ የኋላ እግሮች በሁለተኛው፣ ተሳቢው በሦስተኛው ላይ እንዲውል አድርገው ይቁሙ። ወረቀቱ ሦስቱን ለየብቻ ይነግርዎታል። ለጉዞ እንደሚወጡ ሆነው፣ ውኃውም ሰውም ሞልቶ ይመዘን፤ ባዶ ተሳቢ መመዘን ለጎማ ምርጫ አይረዳም።

የኋላ ጎማ የሚሸከመው ከታወቀ በኋላ የጎማው ጎን ላይ ያለው ጽሑፍ ትርጉም ያገኛል። ቁጥሩ ፒ በሚለው ፊደል ከጀመረ ለቤት መኪና የታሰበ ጎማ ነው፤ ኤል ቲ ከሆነ ለቀላል ጭነት መኪና ነው፤ ኤስ ቲ ያለበት ለተሳቢ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ፒክአፕ ላይ በፍጹም አይገጠምም። ብዙ ፒክአፖች ከፋብሪካ የሚወጡት በፒ ጎማ ነው፣ ባዶ ሲነዱ ለስላሳና ነዳጅ ቆጣቢ ስለሆነ። ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው የጭነት መለኪያ 116 ከሆነ ጎማው 2,756 ፓውንድ ይችላል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ደንብ አለ፦ ፒ ጎማ ፒክአፕ ላይ ሲገጠም አቅሙ ለ1.10 ይካፈላል፣ ፒክአፕ ከቤት መኪና የከፋ ጭነትና መንገድ ስለሚገጥመው። ስለዚህ 2,756 የነበረው 2,505 ይሆናል። ተመሳሳይ መጠን ያለው ኤል ቲ 275/65 አር 18፣ ሎድ ሬንጅ (የጭነት ደረጃ) ኢ፣ በ80 ፒኤስአይ 3,415 ፓውንድ ይሸከማል።

በሒሳቡ ከሄድን 1,981 ፓውንድ ለፒ ጎማውም አይከብደውም። እኔ ግን እንዲህ ያለ ተሳቢ ለሚጎትት ሰው ኤል ቲ እመርጥለታለሁ። ትልቅ ትራክ በጎን ሲያልፍ የሚገፋው ነፋስ ተሳቢውን ይነቀንቀዋል፤ ተሳቢው የፒክአፑን ጭራ ይገፋል፤ የፒ ጎማ ጎን ለስላሳ ስለሆነ እየተጣመመ ንቅናቄውን ያራዝመዋል። የኤል ቲ ጎን ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ ያቆመዋል። በአሪዞና ሙቀት ረጅም ዳገት ሲወጣም የተረፈው አቅም ጎማው እንዳይግል ይረዳል። ዋጋው አለው፦ ከበድ ይላል፣ ባዶውን ሲነዱ ያንገጫግጫል፣ ነዳጅም ይጨምራል። በዓመት አንዴ ሁለቴ ቀላል ተሳቢ ለሚጎትት ቤተሰብ በሩ ላይ የተጻፈው ዓይነት ጎማ ይበቃዋል። እንደ ፎርድ ኤፍ-250 ወይም ራም 2500 ያለ ከባድ ፒክአፕ ያለው ሰው ደግሞ በሩ ላይ ከተጻፈው የጭነት ደረጃ በታች መውረድ የለበትም፣ ጎማው የቱንም ያህል ቢረክስ።

ኤል ቲ ጎማ ሲገዙ ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ እባክዎ እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። በእኩል አየር ኤል ቲ ጎማ ከፒ ጎማ ያነሰ ነው የሚሸከመው። ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው 80 ፒኤስአይ ሲሞላ ነውና፣ 35 ላይ የሚችለው ገና ጥቂቱን ነው። ጎሚስታው በሩ ላይ 35 የሚል አንብቦ አዲሱን ኤል ቲ 35 ቢሞላው፣ የበለጠ ገንዘብ ከፍለን የባሰ ደካማ ጎማ ይዘን ወጣን ማለት ነው። መፍትሔው የጎማው አምራች ያወጣውን የጭነትና የአየር ሠንጠረዥ መጠየቅ ነው፤ በዚያ ላይ በሚዛን ያገኘነው ክብደት ስንት ፒኤስአይ እንደሚፈልግ ይታያል። ሠንጠረዡ በሩ ላይ ከተጻፈው ያነሰ ቢያሳይም ከዚያ በታች አይወረድም። ዝም ብሎ 80 መሙላትም መልስ አይሆንም። ፒክአፑ ባዶውን ሲሄድ ከኋላ ይዘላል፣ ጎማው መሐሉን ብቻ ይበላል፣ እርጥብ አስፋልት ላይም ጥሩ አይቆነጥጥም።

መብራቷም የምታዘናጋው እዚህ ላይ ነው። የምትበራው አየሩ በሩ ላይ ከተጻፈው በ25 በመቶ ሲቀንስ ነው። በሩ ላይ 35 ከተጻፈ 26 እስኪደርስ ዝም ትላለች። አዲሱ ጎማ ለጭነቱ 50 የሚፈልግ ከሆነ፣ 28 ላይ ወርዶ እየጋለ ሳለ ዳሽቦርዱ ጸጥ ይላል። አንዳንድ ፒክአፖች ላይ ገደቡን በኮምፒዩተር ማስተካከል ይቻላል፤ ጎማ ቤቱን ይጠይቁ። ካልተቻለ ተሳቢ በተቀጠለ ቁጥር ማለዳ፣ መኪናው ሳይነሣ፣ በእጅ መለኪያ መለካት ነው። የአየሩ ጠባይ በ10 ዲግሪ ፋረንሃይት በቀዘቀዘ ቁጥር የጎማው ግፊት በ1 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳልና ከቆላ ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው ይህንንም ያስብ።

ጠንካራ ጎማ የፒክአፑን የመጎተት አቅም አያሳድገውም፤ የአክስሉ፣ የባሌስትራውና የፍሬኑ ገደብ እንደነበረ ነው። ረዥም ጎማ ደግሞ አቅሙን ይቀንሰዋል። ከ275/65 ወደ 275/70 ቢወጡ ጎማው ከ32 ወደ 33 ኢንች ገደማ ያድጋል፤ 3.73 የነበረው የአክስል ጥርስ ምጣኔ 3.61 እንደሆነ ያህል ይሆናል፣ ሞተሩም ዳገት ላይ ይቸገራል። የፋብሪካውን መጠን አይልቀቁ።

የጥርሱ ነገር ከዚህ ሁሉ ቀላል ነው። አብዛኛው ጉዞዎ አስፋልት ከሆነ የሀይዌይ ጥርስ ያለው ይበቃል፤ ለጭቃ የተሠራው ትልልቅ ጥርስ ተሳቢ ሲጎትት ይረብሻል፣ ይጮኻል። በኮሎራዶ፣ ዴንቨርና ኦሮራ ላሉ ወገኖች ግን ሕግም አለበት። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31፣ በኢንተርስቴት 70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ፣ የጎማው ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች ጥልቀት ሊኖረው ይገባል፤ የጭቃና የበረዶ ወይም የክረምት ጎማ ምልክት ያለበትም መሆን አለበት፣ ፒክአፑ በአራቱም እግር የሚነዳ ካልሆነና ሰንሰለት ካልያዘ። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ጎማ በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው፤ የአይዘንሃወር ዋሻ ከ11,000 ጫማ በላይ ነውና በዚያ የሚያልፍ ሰው ይህን ምልክት ይፈልግ። በብዙ ስቴቶች ሕጉ እስከ 2/32 ይፈቅዳል፤ ተሳቢ ለሚጎትት ግን 4/32 ላይ መቀየር ይሻላል፣ ዝናብ ላይ ውኃውን የሚያወጣው ጥልቀቱ ነውና።

ጎማዎቹ ከመገጠማቸው በፊት ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ። 2324 ካለ እ.ኤ.አ. በ2024 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ብዙ የመኪና አምራቾች ጥርስ ቢኖረውም ጎማ በስድስት ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሁለትና ሦስት ዓመት የቆየውን በአዲስ ዋጋ አይቀበሉ። ከ65 ፒኤስአይ በላይ የሚሞሉ ከሆነ ተራው የላስቲክ ቫልቭ አይችለውም፤ የብረት ወይም ለከፍተኛ ግፊት የተሠራ ይግጠሙልዎ። ቸርኬውም ላይ የተጻፈውን የክብደት ገደብ አብረው ይዩ። የተሳቢው ጎማዎችም ይታዩ፤ አንዳንድ ኤስ ቲ ጎማዎች የተሠሩት ለ65 ማይል ፍጥነት ነው፣ የፒክአፑ ጎማ 100 ቢችልም። ዳዶዎቹ በቶርክ ሬንች ልካቸው ድረስ ይጥበቁ፣ ከ50 እስከ 100 ማይል ከተነዳ በኋላም እንደገና ይታዩ፤ ይህን ያህሉን ፒክአፑን ባዶውን ነድተው ይጨርሱ፣ ተሳቢው ከዚያ በኋላ ይቀጠላል።