ከነጭም ነጭ አለ

«ቀለም መምረጥ ሰልችቶት ነጭ ገዛ» ሲባል ስሰማ ዝም ማለት ያቅተኛል። ቦሌ መንገድ ዳር ጥቂት ብትቆሙ ከሚያልፉት ውድ መኪኖች አብዛኞቹ ነጭ፣ ጥቁር፣ ግራጫ ወይም ብርማ ናቸው። ዓለሙም እንደዚያው ነው። የመኪና ቀለም አምራቾች በየዓመቱ የሚያወጡት ቆጠራ እንደሚያሳየው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ገደማ ብርማ ሲመራ ቆይቶ፣ ከ2011 አካባቢ ወዲህ ቦታውን ለነጭ ለቋል። ዛሬ ከፋብሪካ ከሚወጡት አዳዲስ መኪኖች ሲሶ ያህሉ ነጭ ናቸው። ሰው ይህን አይቶ ዘመኑ ቀለም ጠልቷል ይላል። እኔ ደግሞ ነጭን አላየነውም እላለሁ።

መሠረታዊውን በአጭሩ ልናገር። ላሜራው ገንዳ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ፀረ ዝገት ይለብሳል፣ ቀጥሎ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ፣ በመጨረሻ መስታወት የመሰለው ክሊር ይረጭበታል። ሁሉም ተደራርቦ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ቢያልፍ በጥቂቱ ነው።

ሌሎቹ ቀለሞች ጠበቃ አላጡም። የፌራሪን ቀይ ሁሉም ያውቀዋል፤ ቀዩ ግን መጀመሪያ የኢጣሊያ የውድድር መኪኖች ሁሉ መለያ ነበር። ድርጅቱ በዓርማው ላይ ያኖረው ቢጫ ነው፣ የተወለደበት የሞዴና ከተማ ቀለም። በፈረንጆቹ 1964 ጆን ሰርቲስ የዓለም ሻምፒዮን የሆነበትን የመጨረሻ ውድድር የነዳው ሰማያዊና ነጭ በተቀባ ፌራሪ ነው። ጥቁርም ቢሆን ክብሩን ያውቃል። ቶዮታ ለሴንቹሪ መኪናው «ካሙይ» የሚባለውን ጥቁር ሰባት ጊዜ ደራርቦ ይቀባል፣ በመካከሉም በውኃ እየሞረደ ያለሰልሰዋል። ጠበቃ ያጣው ነጭ ነው።

እስቲ ወደ እናቶቻችን ሳጥን እንሂድ። በእጅ የተፈተለ ጋቢና በፋብሪካ ክር የተሠራ ነጠላ ጎን ለጎን ቢዘረጋ፣ የትኛዋ እናት ናት ሁለቱም ነጭ ናቸው ብላ የምታልፍ? የፈትሉ ነጭ ሞቅ ያለ ነው፣ የፋብሪካው ዓይን ይወጋል። በልብስ ላይ ይህን ያህል የሚለይ ዓይን መኪና ላይ ሲደርስ ለምን ይታወራል?

ነጭ ቀለምን ነጭ የሚያደርገው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ዱቄት ነው፤ ብርሃንን ከአልማዝ ይበልጥ የሚሰብር ማዕድን። ወደ ቀለሙ የገባ ብርሃን ከቅንጣት ቅንጣት እየተላተመ ተመልሶ ይወጣል። ነጭ የምንለው ያንን የተመለሰ ብርሃን ነው። ተራው ነጭ እዚህ ላይ ያበቃል።

ዕንቁ ነጭ፣ ቀለም ቀቢዎች ፐርል የሚሉት፣ ከዚህ ይቀጥላል። መጀመሪያ ነጩ መደብ ይቀባል። በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ልባስ ይረጫል፤ በውስጡ ሚካ ከሚባለው ማዕድን የተላጡ ጥቃቅን ቅርፊቶች አሉ፣ እነሱም በዚያው በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተለበጡ። ከሁሉም በላይ ክሊሩ። ብርሃን ከለበጣው ላይኛና ታችኛ ገጽ ተመልሶ ሲገናኝ አንዱ ቀለም ይጎላል፣ ሌላው ይጠፋል፤ ውኃ ላይ የፈሰሰ ዘይት ቀስተ ደመና የሚያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ለበጣው ትንሽ ሲወፍር ወይም ሲሳሳ ቅርፊቱ ወርቅማ፣ ሰማያዊ ወይም ሮዝ ይላል። ፊት ለፊት ስታዩት ነጭ ነው፤ በጎን ስታዩት ሌላ ነገር ሹክ ይላችኋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ዶቃ ሠሪዎች ከዓሣ ቅርፊት ባወጡት ብልጭልጭ ነገር ሰው ሠራሽ ዕንቁ ይሠሩ ነበር። ያ ብልሃት ነው ዛሬ በኮፈን ላይ ያለው።

ችግሩም ከዚሁ ይነሳል። መካከለኛው ልባስ ስንት ዙር እንደተረጨ መልኩን ይወስነዋል። የወንድሜ መኪና በሩ ተጭሮ አንድ ጋራዥ ገባ። የቀለሙ ቁጥር ትክክል ነበር። ጠዋት ሲረከብ ማንም ስህተት አላየም፤ አመሻሽ ላይ ግን በሩ ቅቤ የተቀባ ይመስል ቢጫ ሆኖ ከፓራፋንጎው ተለየ።

ያስተካከለው ሌላ ቀለም ቀቢ ነው። አራት ቁራጭ ላሜራ ወስዶ አንዱን አንድ ዙር፣ ሌላውን ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ረጨ። ሲደርቁ ወደ ፀሐይ አውጥቶ አንድ በአንድ ከመኪናው ጎን ያስጠጋቸው ጀመር።

«ቁጥሩ ካለህ ይህ ሁሉ ለምን?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ የሚነግረኝ ምን እንደምበጠብጥ ነው። ስንት ዙር እንደምረጭ የሚነግረኝ መኪናው ራሱ ነው» አለኝ።

ሦስተኛው ቁራጭ ገጠመ። ከዚያም በሩን ብቻ ቀብቶ አላቆመም፤ ልባሱን ወደ ጎረቤቱ ላሜራ እያሳሳ አዘለቀውና መገጣጠሚያው ጠፋ። «ነጭ አይደል፣ ቶሎ ጨርስልኝ» እያላችሁ ባለሙያ የምታጣድፉ ሰዎች፣ ዝንጉርጉሩን መኪና ያዘዛችሁት እናንተው ናችሁ።

ሙቀትን በሚመለከትም ነጭ ምስጋና ይገባዋል። በፈረንጆቹ 2011 የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ጥቁርና ብርማ ሆንዳ ሲቪኮችን ፀሐይ ላይ አቁመው ለክተው ነበር። የብርማው ውስጥ ከጥቁሩ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ቀዝቅዞ ተገኘ፤ ነጭም ከዚህ ወገን ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ነጭ ላንድክሩዘር መውደዳቸው አያስገርምም። ብዙ ያገለገለ መኪና በዱባይ በኩል ወደ እኛ ይመጣ ስለነበር፣ የእነሱ በረሃ ለእኛም ጎዳና ቀለም መርጦልናል።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። አቧራ የተፈጨ ድንጋይ ነው። በደረቅ ጨርቅ የምታስጠርጉት መኪና በብርጭቆ ወረቀት እየተፋቀ ነው። ጥቁር መኪና ላይ ፀሐይ ሲያርፍ የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ከዚህ የመጣ ነው፤ ነጭ ላይ አይታይም እንጂ ቁስሉ ያው ነው። የተጎዳው ክሊሩ ነው፣ እሱም ከጠጉር ይሳሳል። ላቫጆ ስትገቡ መጀመሪያ አቧራውን በብዙ ውኃ ያውርዱላችሁ። መኪናውን የልብስ ሳሙና አታስነኩት። የወፍ ኩስም ፀሐይ ሳያገኘው ይታጠብ።

ያገለገለ ዕንቁ ነጭ ልትገዙ ከሆነ ደግሞ በእኩለ ቀን አትዩት። አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ሂዱ። ከኋላ መብራቱ ጎን ቁሙና ዓይናችሁን በመኪናው ርዝመት ወደ ፊት ላኩ፤ ከዚያ በዝግታ ተራመዱ። ነጩ ከበር ወደ በር ሳይቋረጥ አብሯችሁ ከተራመደ መኪናው አልተነካም፣ ወይም ቁራጭ ላሜራ ይዞ ፀሐይ ላይ የሚወጣ ሰው ነክቶታል።