በመኖ ውስጥ የሚገባው አንቲባዮቲክና የጓሮው ነጭ ሽንኩርት

በገበያ ቀን ከጨውና ከበርበሬ መደብ አጠገብ ባለሁለት ቀለም እንክብል በወረቀት ላይ ደርድሮ የሚሸጥ ሰው ያላየ የገበሬ ማኅበር መሪ ብዙ አይኖርም። ሻጩ እንክብሉ ለቁስልም፣ ለተቅማጥም፣ ለጥጃ ሳልም፣ ለጫጩት ድካምም እንደሚሆን ይናገራል። ገዢዋ አንዱን እንክብል ከፍታ ዱቄቱን በጫጩቶቿ ውኃ ላይ ትበትነዋለች። ጫጩቶቹ ከተረፉ መድኃኒቱ ይመሰገናል፤ ካለቁ ደግሞ ዕድል ይወቀሳል።

ይህ እንክብል አብዛኛውን ጊዜ ቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ነው። የዚህኑ ዓይነት መድኃኒት በትንሽ በትንሹ በየቀኑ ከመኖ ጋር እየቀላቀሉ ያልታመመ እንስሳ በቶሎ ማሳደግ በውጭው ዓለም ለብዙ ዓመታት የተለመደ አሠራር ነበር። አሁን ብዙ አገሮች ይህን ትተው ነጭ ሽንኩርትን፣ ጦስኝንና የመሳሰሉትን ተክሎች በምትኩ በመሞከር ላይ ይገኛሉ። እነዚያ አገሮች ከዚህ የደረሱት ምን ከፍለው እንደሆነና ለእኛ ገበሬ ከዚህ ውስጥ ምን እንደሚበጀው ለማኅበር መሪዎች ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በአጋጣሚ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ ቶማስ ጁክስና ሮበርት ስቶክስታድ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ለጫጩት ዕድገት የሚያስፈልግ ቪታሚን ሲፈልጉ፣ ኦሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ተጣርቶ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን አተላ ለጫጩቶች አበሉ። አተላውን የበሉት ጫጩቶች ከተጠበቀው በላይ አደጉ። የጠላ አተላ ላምን እንደሚያወፍር የሚያውቅ ገበሬ ላይደነቅ ይችላል፤ እዚህ ላይ ግን ሥራውን የሠራው አተላው ሳይሆን በውስጡ የቀረው ጥቂት መድኃኒት ነበር። በ1951 የአሜሪካ መንግሥት አንቲባዮቲክ በመኖ ውስጥ እንዲገባ ፈቀደ። ከዚያ ወዲያ አሠራሩ በብዙ አገሮች ተስፋፋ።

በተለይ በአሳማ ርባታ ላይ እጅግ ገነነ። የአሳማ ግልገል በተፈጥሮው ሦስት ወርና ከዚያም በላይ እየጠባ ቀስ በቀስ ከእናቱ የሚለይ ሲሆን፣ በትልልቅ የርባታ ጣቢያዎች ግን እናቲቱ ቶሎ እንድታረግዝ ሲባል በ3 ወይም በ4 ሳምንቱ ጡት ይጥላል። ሆዱ ወተት እንጂ እህልና አኩሪ አተር መፍጨት ገና አልለመደም። ሳይፈጭ አንጀቱ ውስጥ የሚቀረው መኖ ለተቅማጥ ጀርም ቀለብ ይሆናል። ከማያውቃቸው ግልገሎች ጋር በአንድ ጠባብ ቤት ሲታጎር ደግሞ ችግሩ ይብሳል። በመኖ የሚገባው አንቲባዮቲክ ይህን ሁሉ የአያያዝ ጉድለት ሸፍኖ ያልፍ ነበር። ጥጃ ያለ ጊዜው ከእናቱ ሲለይ የሚደርስበትን ለሚያውቅ ገበሬ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ጉዳቱ የታየው ቆይቶ ነው። በጥቂቱ በየቀኑ የሚሰጥ መድኃኒት ደካማውን ጀርም ይገድልና ብርቱውን ያስቀራል። የተረፈው ይራባል፤ መድኃኒቱን የመቋቋም ጠባዩንም ለሌላ ዓይነት ጀርም ሳይቀር ያስተላልፋል። አንድ ዓይነት ፀረ አረም በየዓመቱ በሚረጭበት ማሳ ላይ መድኃኒቱ የማይበግረው አረም እየበዛ እንደሚሄድ ማለት ነው። ልዩነቱ አረሙ ከማሳው ብዙ ሳይርቅ ሲቀር፣ ጀርሙ ግን በፍግ፣ በውኃ፣ በሥጋና በአርቢው እጅ ከበረት ወደ ቤት መግባቱ ነው። መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሕዝብ በ2019 ብቻ በዓለም ዙሪያ 1 ሚሊዮን 270 ሺህ ያህል እንደሚሆን ተገምቷል። ይህ ሁሉ የመጣው ከእንስሳት ነው ማለት አይደለም፤ ሰው ራሱ መድኃኒትን ያለአግባብ መጠቀሙ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ይሁን እንጂ ያን እንክብል ለጫጩቶቿ የበተነች እናት ልጇ በሳንባ ምች ታሞባት ጤና ጣቢያ ስትሄድ የሚታዘዝላት መድኃኒት የሚጨክነው ጀርሙ ገና ካልለመደው ብቻ ነው።

የማኅበር መሪዎች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባው የስዊድንን ጉዳይ ነው። ስዊድን ለማሳደጊያ የሚሰጠውን አንቲባዮቲክ በ1986 ስትከለክል ከዓለም የመጀመሪያዋ ነበረች። ይታገድልን ብለው የጠየቁትም የአገሩ ገበሬዎች በማኅበራቸው በኩል ነበር። ሕዝቡ በሥጋቸው ላይ ያለው እምነት እንዳይጠፋ ሠግተው ነበርና። መጀመሪያ ላይ ብዙ ግልገሎች በተቅማጥ ተቸግረዋል። በኋላ ግን ቤቱን በማጽዳት፣ የአንድ ጊዜ ግልገሎችን አንድ ላይ አስገብቶ አንድ ላይ በማስወጣትና መኖውን በማስተካከል ችግሩን አቃለውታል።

የአሳማ አገር የሆነችው ዴንማርክም ተከተለች። በ1995 አቮፓርሲን የተባለውን መድኃኒት ከለከለች፤ ይህ መድኃኒት ሐኪሞች ለከባድ ሕመም ከሚያስቀምጡት ከቫንኮማይሲን ጋር ወንድማማች ነው። በዶሮዎች ላይ የነበረው መድኃኒት የለመደ ጀርም ከዚያ በኋላ ፈጥኖ ቀነሰ። በአሳማዎች ላይ ግን ታይሎሲን የሚባለው ሌላ መድኃኒት እስኪቆም ድረስ አልቀነሰም። ሁለቱን የመቋቋም ጠባይ ጀርሙ አጣምሮ ይዞት ስለነበር አንዱ መድኃኒት የሌላውን ሲጠብቅለት ኖሯል። በ1998 አርቢዎቹ በራሳቸው ፈቃድ ለትልልቆቹ አሳማዎች፣ በ2000 መጀመሪያ ደግሞ ለግልገሎቹም ማሳደጊያውን አቆሙ። በትልልቆቹ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አልታየም፤ በግልገሎቹ ላይ ግን ለጊዜው ተቅማጥና ሕክምና ጨምሮ ነበር። ከ1992 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ለአንድ ኪሎ አሳማ የሚውለው አንቲባዮቲክ ከ100 ሚሊግራም ወደ 49 ሚሊግራም ገደማ ወርዷል፤ የሚመረተው አሳማ ግን ከ18 ነጥብ 4 ሚሊዮን ወደ 27 ነጥብ 1 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። እገዳው ርባታውን ይጥለዋል ተብሎ የተፈራው አልደረሰም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2006 በአባል አገሮቹ ሁሉ ከለከለ። ከዓለም አሳማ ግማሽ ያህሉን የምታረባው ቻይና ደግሞ በ2015 ኮሊስቲን የሚባለውን የመጨረሻ ደረጃ መድኃኒት የሚቋቋም፣ ከጀርም ወደ ጀርም የሚተላለፍ ዘር በአሳማዎቿና በሕመምተኞቿ ላይ ተገኘ። ኮሊስቲንን ከመኖ በ2017 አወጣች፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2020 ጀምሮም የመኖ ፋብሪካዎች የማሳደጊያ መድኃኒት እንዳይጨምሩ አዘዘች። ትእዛዙ አንድ ነገር ብቻ ለይቶ ፈቅዷል፤ እርሱም የአገሩ ባህላዊ የዕፀዋት መድኃኒት ነው።

ወደ ዕፀዋቱ ስንመጣ፣ ብዙ የተሞከሩት ነጭ ሽንኩርት፣ ጦስኝና ከእርሱ ጋር የሚዛመደው ኦሬጋኖ፣ ቀረፋና ዝንጅብል ናቸው። ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ አሊሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይፈጠርበታል፤ የሚሰነፍጠውም፣ ጀርምን የሚጎዳውም እርሱ ነው። በጦስኝ ዘይት ውስጥ ያሉት ታይሞልና ካርቫክሮል ደግሞ የጀርሙን የውጭ ሽፋን ይበሳሉ። ከዚህም ሌላ ሽታቸው የመብላት ፍላጎትን ሊያነሣሣ ይችላል።

ውጤታቸው ግን ወጥ አይደለም። በአንዱ ሙከራ ከአንቲባዮቲክ ጋር እኩል ሲቆሙ በሌላው ምንም ለውጥ ሳያሳዩ ቀርተዋል። ይህም የሚሆንበት ምክንያት አለ። የአንድ ተክል ኃይል እንደ ዝርያው፣ እንደ መሬቱ፣ እንደ ታጨደበት ጊዜና እንደ አደራረቁ ይለያያል። ፀሐይ ላይ የሰነበተ ቅጠል ዘይቱ ተንኖ ያልቃል። የተፈላ ነጭ ሽንኩርት አሊሲኑን ያጣል። ቤቱ ንጹሕ፣ መኖው ጥሩ በሆነበት ደግሞ ተክሉም ሆነ አንቲባዮቲኩ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ቅጠል ይዞ «ይህ ብቻውን ያሳድጋል» የሚል ሰው እንክብል ከሚደረድረው ነጋዴ ብዙም አይሻልም።

በአገራችን አሳማ የሚያረባው በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ አካባቢ ያለ ጥቂት አርቢ ነው፤ ሃይማኖትና ልማድ ከዚያ በላይ አላስኬዱትም። ለእኛ ገበሬ ጉዳዩ የሚነካው በዶሮው በኩል ነው። ነጭ ሽንኩርት በየጓሮው አለ። ጦስኝም በባሌ፣ በሰሜን፣ በመንዝና በወሎ ደጋ ላይ ይበቅላል፤ ታይሞልና ካርቫክሮልም አለው። የእኛው ጦስኝ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ዝርያ መሆኑ ግን ሊታወቅ ይገባል። ለሻይ ገበያ ሲባል ከነሥሩ እየተነቀለ ነው። ለዶሮ መኖም ይፈለጋል ከተባለ ተራራው በአጭር ጊዜ ይራቆታል። በመንዝ ጓሳ ሕዝቡ ሣሩን በቄሮ ሥርዓት ከልሎ፣ የሚታጨድበትን ጊዜ ወስኖ ለብዙ ዘመን ጠብቆታል። ጦስኝ ያለበት ማኅበርም ከሥር መንቀልን በመተዳደሪያ ደንቡ ሊከለክልና በማጭድ ከላይ ብቻ እንዲቆረጥ ሊወስን ይችላል። ከሁሉም የሚሻለው ግንዱን ቆርጦ በጓሮ ማጽደቅ ነው።

አባሎቻችሁ ነጭ ሽንኩርትን ለመሞከር ከፈለጉ ገንዘብ ሳያወጡ በፊት በአንድ አባል ቤት ይፈተን። በአንድ ቀን የተፈለፈሉ 40 ጫጩቶች ይገኙ። በዕጣ በ20 በ20 ይከፈሉ፤ ደህና ደህናው ወደ አንድ ወገን እንዳይሄድ በዓይን አይመረጡ። ቤታቸው፣ ውኃቸው፣ መኖአቸውና የሚጠብቃቸው ሰው አንድ ይሁን። ለአንደኛው ወገን ብቻ በስሱ ተከትፎ በጥላ የደረቀና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት በ100 ኪሎ መኖ 1 ኪሎ ይቀላቀል። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ጧት ሳይበሉ ይመዘኑ። የተሰጠው መኖ፣ የሞተው ጫጩትና ክብደቱ በደብተር ይጻፍ። ለምሳሌ 20ው ጫጩቶች በ8 ሳምንት 45 ኪሎ መኖ በልተው 15 ኪሎ ቢጨምሩ ለአንድ ኪሎ ዕድገት 3 ኪሎ መኖ ወጥቷል ማለት ነው። በሁለቱ ወገን ይህ ቁጥር ተቀራራቢ ከሆነ ሽንኩርቱ ወደ ወጥ ይመለስ። አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ልዩነትም አያኩራራ፤ በሁለተኛው ዙር ይደገም።

ሒሳቡም አይረሳ። 1 ኪሎ ደረቅ ዱቄት ለማግኘት 3 ኪሎ ያህል እርጥብ ነጭ ሽንኩርት ያስፈልጋል። ገበያ በሚወደድበት ወራት ይህ አያዋጣም። የሚያዋጣው ለገበያ የማይሆነውን ጥቃቅኑንና የተፈነከተውን መጠቀም ነው፤ የሻገተው ግን አይነካ። በብዛት የተሰጠ እንደሆነ ዶሮዋ መኖ ትቀንሳለች፣ እንቁላሉም ሽታ ሊያመጣ ይችላል።

መድኃኒትነት ያለው ተክል ሁሉ ለመኖ ይሆናል ማለትም አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ኮሶም እንዲሁ መርዝነት አለው። እነዚህን «ሆድ ያጠራል» ብሎ ከዶሮ መኖ የቀላቀለ ሰው ዶሮውን ይቀብራል።

ጫጩት ታሞ ከተገኘ ደግሞ ቅጠልም ሽንኩርትም አይጠበቅ። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ቴትራሳይክሊን አይፈውሰውም፤ የሚያድነው አስቀድሞ የተሰጠ ክትባት ብቻ ነው። በባክቴሪያ ለሚመጣ በሽታ የእንስሳት ጤና ባለሙያው አንቲባዮቲክ ካዘዘ በታዘዘው መጠንና ቀን ሙሉ በሙሉ ይሰጥ፤ ሻል ሲል አይቋረጥ። ባለሙያው በሚወስነው ቀን ውስጥ የሚገኘው እንቁላል፣ ወተትና ሥጋም ለቤትም ሆነ ለገበያ አይውል።

በገበያው መደብ ላይ ያለውን እንክብል ሻጭ በተመለከተ ማኅበሩ ብቻውን ከሚያባርረው ይልቅ ከወረዳው የጤናና የእንስሳት ጽሕፈት ቤቶች ጋር አብሮ ቢቆጣጠረው ይሻላል። ያለዚያ ሰውዬው ከአንዱ ገበያ ተነሥቶ በሌላው ይቀመጣል። ከዚሁ ጋር የፈንግል ክትባት ለቀበሌው በምን ወር እንደሚመጣ በዚያው ጽሕፈት ቤት ተጠይቆ ቀኑ በስብሰባ ለአባላት ይነገር፤ ብዙውን ጊዜ ያ እናት ወደ እንክብል ሻጩ የምትሄደው ክትባቱ መምጣቱን ሳትሰማ ስለቀረች ነው።