ኢስታንቡል በእግረኛ ዓይን፤ ብቻውን የሄደ መንገደኛ የመጀመሪያ ሦስት ቀኖች

ሺህ ጊዜ ከመስማት አንድ ጊዜ ማየት ይሻላል ሲባል ከአባቶቻችን ሰምተናል። ነገር ግን ማየትም እንደ ተመልካቹ ነው። አንዱ ወደ ውጭ አገር ሄዶ፥ ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ሲመለስ የሚያወራው ስለ ሱቁና ስለ ብርዱ ብቻ ሲሆን፥ ሌላው በሦስት ቀን ውስጥ የከተማይቱን አሠራርና የሕዝቧን ጠባይ ለይቶ ይመጣል። ይህን ልዩነት የሚያመጣው የገንዘብ ብዛት ሳይሆን የመጀመሪያዎቹ ቀኖች አጠቃቀም ነው። እንግዳ ሰው በነዚያ ቀኖች የፈራ እንደሆነ ፍርሃቱን ይለምደዋል፤ ከአገሩ ልጆች መካከል ገብቶ ይደበቅና የሄደበትን አገር ሳያውቀው ይመለሳል። በዛሬው ጊዜ ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ልምምድ ወደ ውጭ የሚሄዱት ወጣቶቻችን ብዙዎች ስለሆኑ፥ ይህን ጉዳይ በአንዲት ከተማ ምሳሌነት ልንመለከተው ወደድን።

የመረጥናት ከተማ ኢስታንቡል ናት። ምክንያታችንም ሁለት ነው። አንደኛ፥ የቱርክ መንግሥት በሚሰጠው የነጻ ትምህርት ዕድል ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ወደዚያ አገር ይሄዳሉ። ሁለተኛ፥ ከተማይቱ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት፥ አንድ እግሯን በአውሮጳ ሌላውን በእስያ ላይ ያሳረፈች ስለሆነች፥ ብቻውን ለሚሄድ ሰው ጥሩ መፈተኛ ናት። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ያስተውሉልን።

ጉዞው የሚጀምረው ከሻንጣው ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ረዳት የለውምና፥ በጀርባው ሊያዝለው ከሚችለው በላይ መያዝ አይገባውም። የአሮጌው ኢስታንቡል መንገዶች ዳገትና ቁልቁለት፥ ብዙዎቹም ድንጋይ የተነጠፈባቸው ስለሆኑ፥ ባለ ጎማ ሻንጣ የሚጎትት እንግዳ ጥቂት ሳይሄድ ይደክማል። ጥቂት ልብስ፥ የብርድ ካፖርትና እግር የለመደው ጫማ ይበቃል። ፓስፖርቱና ዋናው ገንዘብ በደረት ኪስ፥ የዕለቱ ወጪ በሌላ ኪስ ይሁን፤ የፓስፖርቱም ግልባጭ በሻንጣው ውስጥ ይቀመጥ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደተባለው፥ ይህ ሁሉ ከቤት ሳይወጡ የሚሰናዳ ነገር ነው።

አዲሱ የአውሮፕላን ማረፊያ በ2018 ተመርቆ በ2019 ዋናውን ሥራ የተረከበ ሲሆን፥ ከመሐል ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከ2023 ጀምሮም የምድር ውስጥ ባቡር ይደርስበታል። መንገደኛው በቅድሚያ ሊገዛው የሚገባው ነገር «ኢስታንቡልካርት» የሚባለው ካርድ ነው። አውቶቡሱም፥ ትራሙም፥ የምድር ውስጥ ባቡሩም፥ የባሕር መርከቡም በዚሁ አንድ ካርድ ይከፈላል፤ ከአንዱ ወርዶ ወደ ሌላው ለሚሳፈርም ዋጋው ይቀነሳል። ቋንቋ የማያውቅ ሰው በዚህ ካርድ ከብዙ ክርክር ይድናል። ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ሌላ ነገር ሊያስተውልበት ይገባል፤ ይኸውም ልዩ ልዩ የመጓጓዣ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ሒሳብ ለመተሳሰር ሲስማሙ፥ የሕዝቡ ድካም ምን ያህል እንደሚቀልል ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከአሮጌው ከተማ አለመውጣት ይሻላል። በዚያ ሐጊያ ሶፊያ አለች፤ ትርጓሜዋም ቅድስት ጥበብ ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥት ዩስቲኒያኖስ ከ532 እስከ 537 ድረስ አሠርቷት እስከ 1453 ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ቱርኮች ከተማይቱን ሲይዙ መስጊድ ሆነች፤ በ1935 ሙዚየም ሆና ተከፈተች፤ በ2020 ዳግመኛ መስጊድ ሆናለች። የጉልላቷ ስፋት 31 ሜትር፥ ከወለሉ ያላት ከፍታ 55 ሜትር ያህል ነው። ከጉልላቱ ግርጌ ዙሪያውን 40 መስኮቶች ስላሉ፥ ብርሃኑ በነዚያ ሲገባ ያ ሁሉ ክብደት በአየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል።

ኢትዮጵያዊ ተመልካች ግን በዚህ ሥፍራ ቆሞ ሊያስታውሰው የሚገባ ሌላ ታሪክ አለ። ይኸው ዩስቲኒያኖስ የሐጊያ ሶፊያ ሥራ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ በ531 ገደማ፥ ዩሊያኖስ የሚባል መልእክተኛ ወደ አክሱም ንጉሥ ወደ ካሌብ ልኮ ነበር። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ እንደመዘገበው፥ ጉዳዩ የንግድ ጉዳይ ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ሐሩን ከሕንድ ነጋዴዎች ገዝተው ለሮማውያን ቢሸጡ፥ እነሱም ያተርፋሉ፥ ሮማውያንም ገንዘባቸውን ለጠላታቸው ለፋርስ ከመክፈል ይድናሉ የሚል ነው። ነገር ግን የሕንድ መርከቦች በሚደርሱባቸው ወደቦች የፋርስ ነጋዴዎች እየቀደሙ ጭነቱን ሁሉ ስለሚገዙ ሐሳቡ ሳይፈጸም ቀረ። እንግዲህ አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ይህን ሕንጻ ሲያይ፥ ፈጽሞ የማያውቀው ሰው ቤት እንደገባ ሊቆጥረው አይገባም።

ከሐጊያ ሶፊያ ጥቂት ርምጃ ራቅ ብሎ፥ በዚያው ንጉሥ ዘመን የተሠራ የምድር ውስጥ የውኃ ማጠራቀሚያ አለ። እያንዳንዳቸው 9 ሜትር ቁመት ያላቸው 336 ዓምዶች ጣራውን ተሸክመውታል። በኋላ ዘመን ሥፍራው ተረስቶ፥ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ፈረንሳዊ ሊቅ ፈልጎ ሲያገኘው፥ የአካባቢው ሰዎች በቤታቸው ወለል ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ ባልዲ እያወረዱ ውኃ ይቀዱ፥ ዓሣም ያጠምዱ ነበር።

በዚህ አካባቢ የሚሄድ እንግዳ አንድ ነገር ይጠንቀቅ። ሊስትሮው ከፊቱ ሲሄድ ብሩሹ «ሳይታወቀው» ይወድቃል። እንግዳው በደግነት አንሥቶ ሲሰጠው፥ ሊስትሮው ለምስጋና ብሎ ጫማውን ይጠርግለታል፤ ከዚያም ስለ ልጆቹ ችግር እያወራ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ወዳጅ መስሎ ወደ መጠጥ ቤት የሚጋብዝና ሒሳቡን በእንግዳው ላይ የሚጥልም አለ። ሆኖም በነዚህ ምክንያት ሕዝቡን ሁሉ መጠርጠር ትልቅ ጉዳት ነው። ልዩነቱን የሚያውቁበት ምልክት ቀላል ነው፤ አታላዩ ራሱ ፈልጎ ይመጣል፤ እኛ ሄደን የምንጠይቀው ባለሱቅ ወይም ሽማግሌ ግን ብዙውን ጊዜ ሥራውን ትቶ መንገድ ያሳያል።

የመጀመሪያው ቀን በአዲስነቱ ይታለፋል። በሁለተኛው ቀን ግን ብቸኝነት ይመጣል። እኛም ብቻችንን በተጓዝንባቸው ከተሞች ሁሉ ይህን አይተነዋል። በሕዝብ መካከል ብቻ ሆኖ መብላት ለኢትዮጵያዊ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኛ ማዕድ ቆርሰን የምንጎራረስ ሕዝብ ነንና። በዚህ ጊዜ ወጣቱ ወደ ማደሪያው ገብቶ በስልኩ ከአገር ቤት ጋር ሲያወራ ያመሻል። ናፍቆቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ማታ ማታውን ሁሉ እንዲህ ካሳለፈ አካሉ ኢስታንቡል ሆኖ ልቡ ከአዲስ አበባ አልተነሣም ማለት ነው።

የዚህ መድኃኒቱ ጥቂት ቃላት መማር ነው። ቱርክኛ ለእኛ ፈጽሞ ባዳ አይደለም። የምግብ ቤት ሒሳብ «ሔሳፕ»፥ ሰዓት «ሳአት»፥ ሳሙና «ሳቡን»፥ ሻይ «ቻይ» ይባላል። ቱርኮች በ1928 የላቲንን ፊደል ሲቀበሉ፥ ለ«ሸ»፥ ለ«ቸ» እና ለ«ጀ» ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ፊደል መድበዋል። የላቲኑ ሦስተኛ ፊደል በእነሱ ዘንድ «ጀ» ተብሎ ስለሚነበብ፥ መስጊድን «ካሚ» ብሎ የሚጠይቅ አይገባቸውም፤ «ጃሚ» ሊል ይገባዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው የመንገድ ስሞችን ሁሉ በአንድ ቀን ውስጥ ማንበብ ይጀምራል።

በቃላቱ መለማመጃ የሚሆነው ካፓሊ ቻርሺ የተባለው ጣራ ያለው ትልቅ ገበያ ነው። ከ60 በላይ መንገዶችና ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ሱቆች አሉበት። ነጋዴው ሻይ ሲጋብዝ መጠጣት ክብር ነው፤ መግዛት ግን ግዴታ አይደለም። ቡናም ሲቀርብ፥ ይህ የእኛ አገር ፍሬ በየመን በኩል ዞሮ መምጣቱን ማስታወስ ይገባል። ፔቼቪ የተባለው የቱርክ ታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው፥ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከሐሌብና ከደማስቆ የመጡ ሁለት ሰዎች በዚህች ከተማ የመጀመሪያዎቹን ቡና ቤቶች ከፈቱ።

ከገበያው በላይ በኮረብታው ላይ፥ ሲናን የተባለው ታላቅ መሐንዲስ ከ1550 እስከ 1557 የሠራው የሱለይማኒዬ መስጊድ ይገኛል። እዚህ ጫማ አውልቆ መግባት እኛ ከቤተ ክርስቲያናችንም ከመስጊዳችንም የምናውቀው ሥርዓት ስለሆነ አያስቸግረንም። በመስጊዱ ዙሪያ ትምህርት ቤቶች፥ ሐኪም ቤት፥ የእንግዳ ማደሪያና ለድኃ ምግብ የሚሰጥበት ማድ ቤት አብረው ተሠርተው ነበር። በዘመኑ ልማድ መንገደኛ ለሦስት ቀን ያለ ክፍያ ይስተናገድ ነበር። እንግዳ እስኪለምድ ስንት ቀን እንደሚያስፈልገው እነዚያ ሰዎች ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ቀን የባሕሩ ቀን ይሁን። ከኤሚኖኑ ወደብ ወደ እስያው ዳርቻ ወደ ካዲኮይ ሠራተኛው፥ ተማሪውና ባለ ዘምቢሉ ሁሉ በመርከብ ይሻገራል፤ መንገዱም 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሰሊጥ የተነሰነሰበት ሲሚት የሚባል ቀለበት መሳይ ዳቦ እየበላ፥ ከፊሉንም ለባሕር ወፎች እየወረወረ፥ መንገደኛው ከአህጉር ወደ አህጉር ያልፋል። ካዲኮይ ዛሬ የዓሣና የአትክልት ገበያ የደራባት ሰፈር ናት። የጥንት ስሟ ግን ኬልቄዶን ነው። በ451 የተደረገው፥ ቤተ ክርስቲያናችን የማትቀበለው ጉባኤ የተሰበሰበው በዚህች ሥፍራ ነበር። በአገራችን ስንት ሊቃውንት ስሟን ሲያነሡ ኖረዋል! እዚያ ዓሣ ከሚገዛው ሰው መካከል ግን ይህን የሚያስብ ጥቂት ነው።

ሲመለሱ ከባሕሩ ሥር በሚያልፈው ማርማራይ በተባለው ባቡር መመለስ ይቻላል። ይህ መንገድ በ2013 የተከፈተ ሲሆን፥ ከባሕሩ ወለል ላይ ያረፈው ክፍል እስከ 60 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። ሥራው ከታሰበው ጊዜ በብዙ ዓመት ዘግይቷል። አንደኛው ምክንያት፥ በየኒካፒ ለጣቢያው መሬት ሲቆፈር የጥንቱ ወደብና 37 የተቀበሩ መርከቦች መገኘታቸው ነበር። የታሪክ አጥኚዎች ዓመታት ፈጅተው ቅርሱን እስኪያወጡ ድረስ ባቡሩ መጠበቅ ግድ ሆነበት። ነገ የከተማ ሥራ በእጁ የሚገባ ወጣት ሹም ከዚህ የሚማረው አለ፤ አሮጌውን ሳያጠፉ አዲሱን መሥራት ጊዜም ገንዘብም ይፈልጋል፤ ቢሆንም የሚቻል ነገር ነው።

ከነዚህ ሦስት ቀኖች በኋላ መንገደኛው ከተማይቱን አወቅኋት ሊል አይችልም። ነገር ግን መንገድ ይጠይቃል፥ ሒሳቡን በራሱ አፍ ይጠራል፥ አታላዩን ከደጉ ይለያል። ከዚያ በኋላ ከአገሩ ልጆች ጋር ቢገናኝ መልካም ነው፤ የሚገናኛቸው ሊጠጋቸው ሳይሆን ሊጫወታቸው ይሆናልና። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባላል፤ የኢስታንቡልንም ነገር የሚያስተምረው ኢስታንቡላዊው ነው። ለትምህርት ወይም ለሥራ የምትሄዱ ወጣቶች ሆይ፥ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀኖች ለእግራችሁና ለዓይናችሁ ስጡአቸው። ወደ አገራችሁ ስትመለሱ ከሻንጣችሁ ይልቅ የምትጠየቁት ስላያችሁት ነገር ነው።