የዶሮ ዘር ምርጫና የዝርያ መለኪያ

በመቀሌ ገበያ ዶሮ ሊገዛ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ላባውን ነው። በአማርኛም የአገራችንን ዶሮ የምንጠራው በአብዛኛው በላባው መልክ ነው፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ገብስማ፣ ዥግርማ እንላለን። እነዚህ ቃላት ግን መልክን እንጂ ዝርያን እንደማይገልጹ አስተውሉ። አንዲት ገብስማ ዶሮ ከጣለቻቸው ዕንቁላሎች ቀይም ነጭም ጫጩት ሊፈለፈል ይችላል። ዝርያ የሚያሰኘው ልጅ ወላጆቹን እየመሰለ ከትውልድ ወደ ትውልድ መዝለቁ ነው።

ወደዚህ ለመድረስ አርቢው የሚፈልገውን ዶሮ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወስናል። ይህም ጽሑፍ የዝርያ መለኪያ ይባላል። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1865፣ በአሜሪካ ደግሞ በ1874 ታትሟል። የክብደቱ ልክ፣ የእግሩ ቀለም፣ በራሱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ማለትም የኩክኒው ቅርጽ በመለኪያው ተዘርዝሮ ይገኛል።

ይሁን እንጂ መልክን ብቻ አይቶ መምረጥ ያታልላል። በገበያ ድርብ ኩክኒ ያለው አውራ ዶሮ ከባለ ነጠላው ይበልጥ ይወደዳል። ድርብነት በዘር ነጠላነትን ስለሚሸፍን ግን፣ ሁለት ባለ ድርብ ወላጆች ነጠላ ኩክኒ ያለው ጫጩት ሊያስገኙ ይችላሉ። እንዲያውም ድርብነትን ከአባቱም ከእናቱም የወረሰ አውራ፣ ዕንቁላል ዘር እንዲይዝ የማድረግ ኃይሉ ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው። ገዢው በውድ ዋጋ የሚወስደው ምናልባት እርሱን ይሆናል!

በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው የሆሮ ዶሮ ምርጫ የተከተለው ሌላ መንገድ ነው። መለኪያው የላባ ውበት ሳይሆን በ16 ሳምንት ዕድሜ የሚመዘን ክብደትና የዕንቁላል ብዛት ነበር። እያንዳንዱ ዶሮ ተመዝግቦ፣ በየትውልዱ የተሻሉት ብቻ ለወላጅነት ይቀራሉ።

በመቀሌና በአካባቢዋ በጓሮው ዶሮ ለሚያረባ ቤተሰብ ትልቁ እንቅፋት በዓል ነው። ለፋሲካና ለዘመን መለወጫ ፈጥኖ ያደገው፣ ደረቱ የሰፋው አውራ ይሸጣል ወይም ይታረዳል፤ ቀጫጫው ይቀርና የመጪዎቹ ጫጩቶች ሁሉ አባት ይሆናል። ማንም ሳያስበው ምርጫው የተገላቢጦሽ ሆነ ማለት ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ በተካሄደው ጦርነት ብዙ ቤተሰብ ዶሮውን አጥቷል። መንጋውን እንደገና ከሦስትና ከአራት ዶሮ ለሚጀምር ሰው የአንድ አውራ መልካምነት ወይም ክፋት ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል።

ስለዚህ በዓሉ ከመድረሱ በፊት፣ ከእኩዮቹ ፈጥኖ ባደገው አውራ እግር ላይ ባለ ቀለም ክር እሰሩ፤ እርሱ አይሸጥም። አንድ አውራ ለ10 ያህል ሴቶች ይበቃል። ሴቶቹንም በተለያየ ክር ለዩ፤ በየቀኑ የትኛዋ እንደጣለች በደብተር ጻፉ። የአገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ሲሆን፣ በአንዲቱና በሌላይቱ መካከል ያለው ልዩነት ያለ ደብተር አይታወቅም። የተመረጠው አውራ ከገዛ ልጆቹ ጋር እንዳይራባ፣ ቄቦቹ ሳይደርሱ ከጎረቤት አውራ ጋር ይለዋወጡት።

ደግሞም ዕንቁላል ብቻ እየቆጠሩ መምረጥ የማቀፍን ጠባይ ከመንጋው ያጠፋል። የምታቅፍ ዶሮ 21 ቀን ተቀምጣ፣ ከዚያም ጫጩቶቿን ስታሳድግ መጣል ስለምታቆም በደብተሩ ላይ ሰነፍ ትመስላለች። የመፈልፈያ መሣሪያ በሌለበት ቤት፣ «ታቅፋ ታሳድጋለች» የሚል አንድ መስመር በመለኪያው ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።