የዴይሊሊ ዘር በሪንከቢ በረንዳ፦ ተረትና እውነታ

ዴይሊሊ፣ በስዊድን አጠራሩ ዳግሊልያ፣ ቅጠሉ ረጅም ሣር የሚመስል፣ በብርዱ ወራት ከአፈር በላይ ያለው አካሉ ደርቆ በፀደይ ከሥሩ የሚያቆጠቁጥ የብዙ ዓመት አበባ ነው። እያንዳንዱ አበባ የሚቆየው አንድ ቀን ብቻ ቢሆንም አንዱ ዘንግ ብዙ እምቡጥ ስለሚይዝ ተክሉ ለሳምንታት ሲያብብ ይሰነብታል። የተፈጥሮ አገሩ ምሥራቅ እስያ ነው፤ አውሮፓ ከገባ ግን ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሪንከቢ የምትገኘው በስቶክሆልም ሰሜን ምዕራብ ነው። ከ1965 እስከ 1974 በተካሄደው የአንድ ሚሊዮን ቤቶች ፕሮግራም ከተሠሩት ሰፈሮች አንዷ ናት። በነዚያ ፎቆች ውስጥ ዴይሊሊን ከዘር ለማብቀል የሚነሳ ሰው በእጁ ያለው በረንዳ፣ የመስኮት ደፍና ፍሪጅ ነው። ደግነቱ ከነዚህ በላይ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። የሚያስቸግረው በአፍ የሚዞረው ምክር ነው፤ አብዛኛው ጥፋቱን ሁሉ በብርዱ ያሳብባል።

ከምክሮቹ ሁሉ የቀደመው ዴይሊሊ የሊሊ ዓይነት ነው የሚለው ነው። ሊሊ ከአፈር ሥር እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ራስ አለው፤ ዴይሊሊ የለውም። ያለው ወፋፍራም ሥጋማ ሥሮችና ሥሩ ከቅጠሉ የሚገናኝበት አንገት ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ዛሬ የሚመድቡትም እሬት ከሚገኝበት ቤተሰብ ውስጥ ነው። ልዩነቱ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሊሊ መስሎት በጥልቅ የሚቀብረው ሰው አንገቱን ያበሰብሰዋል፤ ዴይሊሊ የሚፈልገው አንገቱ ከአፈሩ ወለል ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ እንዲል ነው። የምግቡም ጉዳይ አለ። በቻይና የደረቀ የዴይሊሊ እምቡጥ በሾርባ ውስጥ ይበላል፤ ከዚህ ተነስቶ ማንኛውንም ሊሊ የሚመስል አበባ መቅመስ አደገኛ ነው። ከአበባ መደብር የተገዛውም ለምግብ ያልታሰበ መድኃኒት የተረጨበት ሊሆን ይችላል። ድመት ባለበት ቤት ደግሞ ሁለቱም እኩል መርዝ ናቸው። ዴይሊሊም ሆነ ሊሊ የድመትን ኩላሊት በጥቂት ቀናት ውስጥ ያደክማል። ስለዚህ ድመት ያለው ሰው ችግኞቹን በመስኮት ደፍ ላይ ባያሳድግ ይሻላል፤ ቅጠሉን ያኘከች ድመት ምልክት ሳይጠበቅ ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለባት።

ሁለተኛው እምነት ማንኛውም ያበበ ዴይሊሊ ዘር ይሰጣል የሚል ነው። በስዊድን አሮጌ ግቢዎች ብዙ ጊዜ የሚታየው ቡናማ ቀይ ዴይሊሊ ይህን ያፈርሰዋል። ዝርያው የኡፕሳላው ካርል ሊኔ በ1762 ስም ያወጣለት ነው፤ በአውሮፓ የተስፋፋውና አትክልተኞች ኢዩሮፓ የሚሉት ዓይነት ግን ዘር አይቋጥርም ማለት ይቻላል። ምክንያቱ በሴሎቹ ውስጥ ነው። ተራ ዴይሊሊ 22 ክሮሞሶም ሲኖረው ኢዩሮፓ 33 አለው፤ ሦስት እጥፍ የሆነው ስብስብ ለዘር በሚዘጋጁ ሴሎች መካከል እኩል ሊከፈል አይችልም። ተክሉ አገር ያዳረሰው በሥሩ ነው። በየበጋው ከሱ ዘር የሚጠብቅ ሰው ብርዱን ወይም ንብ መጥፋቱን ቢወቅስ ከንቱ ነው።

ዘር የሚቋጥሩት ደግሞ ሁሉ እርስ በርሳቸው አይዳቀሉም። 22 ክሮሞሶም ካላቸው ሌላ ኮልቺሲን በተባለ ንጥረ ነገር አማካይነት ክሮሞሶማቸው ወደ 44 የተባዛ ብዙ ዘመናዊ ዓይነቶች አሉ። ባለ 22ውና ባለ 44ቱ ቢዳቀሉ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬው ጥቂት ቀን አብጦ ይረግፋል። ሻጮች ዲፕሎይድ ወይም ቴትራፕሎይድ ብለው የሚጽፉት ይህን ለመለየት ነው፤ ለአበባው ውበት ብቻ የሚገዛ ሰው ሊዘለው ይችላል፣ ዘር የሚፈልግ ግን ሳያነበው መግዛት የለበትም። ማዳቀሉ ራሱ ቀላል ነው። አበባው በተከፈተበት ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ከአንዱ አበባ ቢጫውን ብናኝ ወስዶ በሌላው አበባ መሐል በወጣው ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ መቀባት ነው። በዝናብ የራሰ ብናኝ ግን አይሠራም።

ፍሬው ከተቋጠረ በኋላ የሚመጣው ስህተት ችኮላ ነው። አረንጓዴው ፍሬ ስለወፈረ ብቻ ደርሷል ተብሎ ይቀጠፋል። ፍሬው ለመብሰል ከ40 እስከ 60 ቀን ያህል ይፈልጋል። የደረሰው ቡናማ ሆኖ በጫፉ መሰንጠቅ ይጀምራል፤ ውስጡ ያሉት ዘሮችም ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁና ለጣት የጠነከሩ ናቸው። ነጭ ወይም ሲጫኑት የሚላሽቅ ዘር አይበቅልም። በስቶክሆልም አንድ በእርግጥ ከብርድ ጋር የተያያዘ ስሌት ያለው እዚህ ላይ ነው። በጁላይ አጋማሽ የተዳቀለ አበባ ዘሩን በሴፕቴምበር አጋማሽ ያደርሳል፤ በኦገስት መጨረሻ የተዳቀለው ግን እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ይጎተትና ውርጭ ይቀድመዋል። ሊደርስ የተቃረበ ፍሬ ከነዘንጉ ተቆርጦ በውሃ ውስጥ ቤት ቢቀመጥ ብዙ ጊዜ ይደርሳል፤ ገና ለጋ ከሆነ ግን አይሆንም።

ዘሩ ከእጅ ከገባ በኋላ ደግሞ ብርድ ጠላት መሆኑ ቀርቶ ቁልፍ ይሆናል። ብዙ የዴይሊሊ ዘር የሚተኛው በትውልድ አገሩ የብርዱ ወራት ሳያልፍ እንዳይበቅል ነው፤ በመጸው ቢበቅል ለጋውን ቡቃያ ውርጭ ስለሚበላው። ስለዚህ ወዲያው በሞቀ ሳሎን የተዘራ ዘር አንዱ በሁለት ሳምንት፣ ሌላው በሁለት ወር ሲወጣ፣ አንዳንዱም ጭራሽ ሲቀር ይታያል። በረዷማ አገር ከነበሩ ወላጆች የመጣው የባሰ ይተኛል፤ ከሞቃት አገር ዓይነቶች የተገኘው ብዙውን ጊዜ ያለ ብርድ ይበቅላል። እንቅልፉን ለማስወጣት የሚሻለው ዘሩን በረጠበ ሶፍት ጠቅልሎ፣ ዚፕ ባለው ላስቲክ ከትቶ በፍሪጅ ውስጥ፣ በ4 ዲግሪ አካባቢ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ማቆየት ነው።

በዚህ ላይ ሦስት የተሳሳቱ ልማዶች አሉ። አንደኛው ደረቅ ዘር ፍሪጅ ውስጥ ወርውሮ ሥራው ተጠናቀቀ ማለት ነው። ደረቅ ዘር በቅዝቃዜ በደንብ ይቀመጣል፣ ከእንቅልፉ ግን አይነቃም፤ ቅዝቃዜው የሚሠራው ዘሩ ውሃ ከጠጣ በኋላ ነው። ሁለተኛው ከፍሪጅ ይልቅ ፍሪዘር ይሻላል የሚለው ሲሆን፣ ውሃ የጠጣ ዘር በዚያ ቅዝቃዜ ውስጡ ይፈርሳል። ሦስተኛው ከአገር ቤት የመጣ ይመስላል፦ ዘሩ ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ። ይህ ለግራር ዘር ትክክለኛ ዘዴ ነው፤ የግራር ዘር ቅርፊት ውሃ ስለማያስገባ ሙቀቱ ይከፍተዋል። የዴይሊሊ ቅርፊት ግን ውሃ ያስገባል፣ እንቅልፉም ከውስጥ ነው። የፈላ ውሃ ይቀቅለዋል እንጂ አይቀሰቅሰውም። ሶፍቱም ሲጨመቅ ውሃ የሚንጠባጠብበት መሆን የለበትም፤ በላስቲኩ ውስጥ ሻጋታ የሚያመጣው ትርፉ ውሃ ነው።

ፍሪጅ የማይወድ ሰው ሌላ መንገድ አለው። ዘሩን በኖቬምበር በአፈር በተሞላ ሣጥን ዘርቶ፣ ከላይ አይጥና ወፍ እንዳይደርሱበት በወንፊት ሽቦ ሸፍኖ በረንዳ ላይ ይተወዋል። በረዶው ያለብሰዋል፤ ዘሩም በፀደይ፣ ጊዜው ሲደርስ ይወጣል። የሣጥኑ ታች የውሃ መውጫ ቀዳዳ ከሌለው ግን በሚቀልጠው በረዶ ይሰምጣል።

ቤት ውስጥ ለሚዘራው ቁልፉ ብርሃን ነው፤ የሪንከቢ ዋነኛ ችግርም ይኸው ነው። በዲሴምበር አጋማሽ በስቶክሆልም ፀሐይ የምትታየው ለ6 ሰዓት ያህል፣ ያውም በአድማሱ ጥግ ዝቅ ብላ ነው። በአዲስ አበባ አጭሩ ቀን ከ11 ሰዓት ተኩል አያንስም፤ በጉልበትም አይወዳደሩም። ‹‹መስኮቱ ወደ ደቡብ ከሆነ ይበቃል›› የሚለው ምክር ከማርች በኋላ እውነትነት አለው፤ ጃንዋሪ ላይ ግን ቡቃያውን ቀጭንና ገርጣ፣ በራሱ ክብደት የሚጋደም ያደርገዋል። የወደቀ ቡቃያ ሲታይ ሰው መስኮቱ ቀዝቅዞበት ነው ይላል፤ በሙቀትም ሊያክመው ወደ ማሞቂያው ያስጠጋዋል። ይህ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ብርሃን ሳይጨምር ሙቀት የጨመረ ቡቃያ ይበልጥ ይረዝማልና። በስዊድን ቤቶች ማሞቂያው ብዙውን ጊዜ ከመስኮቱ ሥር ስለሆነ የመስኮት ደፉ አየር ደረቅ ነው፤ አፈሩ በአንድ ቀን ሊደርቅ ይችላል። መፍትሔው 20 ዋት ያህል የሚፈጅ የኤልኢዲ መብራት ከቡቃያው በላይ ጠጋ አድርጎ በቀን እስከ 16 ሰዓት ማብራት ነው። ፍጆታው በቀን 0.32፣ በ30 ቀን 9.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ማብራቱ የኤሌክትሪክ ሂሳቡን ያናጋዋል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። መብራት ለመግዛት የማይፈልግ ሰው ፍሪጁን በጃንዋሪ መጨረሻ አስጀምሮ በማርች ቢዘራ ቀኑ ራሱ ይረዝምለታል።

ዘሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ በቀላል አፈር ይዘራል፤ 20 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ቅጠል ነጠላ፣ ቀጭን፣ ልክ እንደ ሣር ስለሆነ ብዙ ጀማሪዎች አረም ነው ብለው ይነቅሉታል። ስለዚህ የተዘራበትን ቦታ በምልክት ማሳየት ይጠቅማል። ማዳበሪያ በዚህ ጊዜ አያስፈልግም።

ችግኞቹ በሜይ መጨረሻ፣ የሌሊቱ ውርጭ ሲያልፍ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ቀስ በቀስ የውጭውን አየር እየለመዱ ይወጣሉ። የጓሮው መሬት የአከራይ ስለሆነ የፎቅ ነዋሪ ያለ ፈቃድ ቆፍሮ መትከል አይችልም። ከሰፈሩ አጠገብ ባለው በያርቫ ሜዳ አካባቢ የሚከራይ የአትክልት ቦታ ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ሌላው በረንዳ ላይ በትልቅ መትከያ ያሳድጋል። የበረንዳው ዴይሊሊ በብርዱ ወራት ሲሞት ሰው ‹‹ይህ አገር ለአበባ አይሆንም›› ይላል። በመሬት የተተከለ ዴይሊሊ ግን ከስቶክሆልም እጅግ የሚብሰውን ብርድ ይቋቋማል። በመትከያ ውስጥ የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ መውጫ አጥቶ የተኛ ውሃ ነው። ውሃው በሥሩ ዙሪያ ይቀዘቅዛል፣ ይቀልጣል፣ ደግሞ ይቀዘቅዛል፤ አንገቱ ይበሰብሳል። መትከያው ሰፊ፣ ቀዳዳ ያለው፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ወደ ቤቱ ግድግዳ የተጠጋና ዙሪያው በጨርቅ ወይም በአረፋ ላስቲክ የተጠቀለለ ቢሆን የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይጨምራል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ የመደብር ቋንቋ አለ። አንዳንድ ዓይነቶች ‹‹ዘላለም አረንጓዴ›› ተብለው ይሸጣሉ፤ ገዢው በበረዶ መሐል አረንጓዴ ቅጠል ይጠብቃል። በሪንከቢ ቅጠሉ በውርጭ ይቃጠላል። ቃሉ የሚናገረው ተክሉ በሞቃት አገር ማደጉን እንደማያቋርጥ ነው፤ ብርድ ስለመቻሉ ምንም አይናገርም። ከነዚህ ውስጥ ጠንካራም ደካማም አለ። ስለዚህ በጎረቤት በረንዳ ሁለት የብርድ ወቅት ካለፈ ተክል የተገኘ ዘር ከማንኛውም ጽሑፍ የተሻለ ማስረጃ ነው።

ቢሆንም የጎረቤቱን አበባ ራሱን ለማግኘት ዘሩን መዝራት ከንቱ ነው። የተመዘገቡት የዴይሊሊ ዓይነቶች ከ80,000 በላይ ሲሆኑ አብዛኞቹ ከብዙ ትውልድ ቅልቅል የመጡ ናቸው፤ ከአንድ ፍሬ የወጡ ዘሮች እንኳ በቀለም፣ በቁመትና በአበባ መጠን ይለያያሉ። ያንኑ አበባ የሚፈልግ ሰው ሥሩን ከፍሎ መውሰድ አለበት። ይህን የደቡብ ኢትዮጵያ እንሰት አልሚዎች ጠንቅቀው ያውቁታል፤ የሚወዱትን ዓይነት የሚያባዙት ከዘር ሳይሆን ከግንዱ ሥር ከሚያወጡት ችግኝ ነው። ከዘር የሚገኘው ጥቅም ሌላ ነው፦ ማንም ያልያዘው አዲስ አበባ። ከመቶ ችግኝ መሐል ምርጡን ለመለየት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በስዊድን ከዘር የወጣ ዴይሊሊ ብዙውን ጊዜ የሚያብበው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው በጋ ነው፣ በጠባብ መትከያ ደግሞ ይዘገያል። በመጀመሪያው ዓመት እምቡጥ ስላልታየ ተክሉን የሚጥል ሰው የሚጥለው ጤነኛ ተክል ነው። የመጀመሪያው አበባም የመጨረሻው መልክ አይደለም፤ ተክሉ ሲጎለምስ ዘንጉ ይረዝማል፣ እምቡጡም ይበዛል።

ዘሩን ከየት ማምጣት እንደሚቻልም የተሳሳተ ግምት አለ። ትንሽ የዘር ፖስታ በሻንጣ ውስጥ ምንም አይደለም ይባላል። ከዲሴምበር 14 ቀን 2019 ወዲህ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚገባ የሚተከል ዘር፣ ለግል አገልግሎት ቢሆንም፣ ከመጣበት አገር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ብዙ የዴይሊሊ ዘር የሚሸጠው ከአሜሪካ ስለሆነ ትዕዛዙ በፖስታ ቢመጣም ሕጉ ያው ነው፤ ከእንግሊዝም ከኢትዮጵያም የሚመጣውን ይመለከታል። ወደ አገር ቤት ዘር ለመላክ የሚያስብ ደግሞ የኢትዮጵያን የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል። በስዊድን ውስጥ ከሚገኝ አብቃይ የተገኘ ዘር ግን ይህን ወረቀት አይጠየቅበትም።